የማይበተን ዶቃ

አረጋሽ ከሰርቪስ ቤቷ ደጃፍ፣ ከሦስቱ የድንጋይ ደረጃዎች ግርጌ በጎኗ ወድቃ ነበር። ጭንቅላቷን የታችኛው ደረጃ ጠርዝ መቶታል። በቀኝ መዳፏ የተበጠሰ ነጭ ክር ጨብጣለች። ደረጃው ላይና ዙሪያዋን ቀይ ዶቃ እንደ ምስር ተዘርቷል። ዕለቱ ኅዳር 1989 ዓ.ም. ውስጥ የዋለ አንድ ቅዳሜ ነው፤ ሰዓቱ ወደ ስድስት ይጠጋል፤ ቦታው ነፋስ ስልክ።

«የያዘችው የአንገት ዶቃ ተበጠሰ፤ ረገጠችው፤ አንሸራተታትና ወደቀች» አለ ረዳት መርማሪው ሚሳኤል፣ ደብተሩን ሊዘጋ እያለ። «ግልጽ አደጋ ነው። ሰፈሩ ግን ‹ጨሌው ነው የቀሰፋት› እያለ ነው።»

«ጨሌው ከሆነ መዝገቡን ለጠንቋይ እናስተላልፋለና» አለች አምሳለ።

መርማሪ አምሳለ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። መጠበቅ አትወድም፤ «ግልጽ ነው» የሚል ሰው ደግሞ ከመጠበቅም ይበልጥ ያናድዳታል። ተንበርክካ ደም ውስጥ ከተቀመጡት ዶቃዎች አንዱን በጥፍሯ አነሳች። ታቹ በደም ርሷል፤ ላዩ ላይ ግን የደም ፍንጣቂ እንኳ የለም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚሁ።

«እስቲ ቀስ ብለህ ከፍ አድርጋት።»

ሚሳኤል አስከሬኑን ከፍ አደረገ። ከሥሩ አንድም ዶቃ አልነበረም።

«ዶቃ አንሸራቶት የወደቀ ሰው ቢያንስ አንዱን ፍሬ ተኝቶበት ይገኛል» አለች። «እዚህ ደሙ ቀድሟል፤ ዶቃው ተከትሏል። ደብተርህን ክፈት።»

ክሩን ከሟቿ መዳፍ አውጥታ በሁለት ጣቶቿ መሀል ሳበችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ልሙጥ ነበር። አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

አረጋሽ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህች ሰርቪስ ቤት ዶቃ ስትሠራ ኖራለች። «የአረጋሽ ዶቃ» ፒያሳ ድረስ የታወቀ ስም ነው። የግቢው የቆርቆሮ በር ከውስጥ የሚቆለፈው በሽቦ ነው፤ እጅን በቀዳዳ አሾልኮ ሽቦውን መፍታት የሚያውቁት ከሟቿ ሌላ አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ባሏ ወጋየሁ የጎፋ ጋራዥ መካኒክ ነው። ታናሽ እህቷ ወርቅዬ ከስምንት ወር በፊት ከፍቼ መጥታ አብራት ትኖራለች። ቢፍቱ ላፍቶ በኩል የሚያርስ ቤተሰብ ልጅ ስትሆን በየቀኑ ከአረጋሽ ጋር ትሠራ ነበር። አራተኛው አስከሬኑን መጀመሪያ ያየው የስጦታ ዕቃ ነጋዴው ዳኜ ነው።

«አደጋ አይደለም» የሚለው ቃል ከአምሳለ አፍ እንደወጣ የሦስቱም ጣት ወደ ቢፍቱ ተቀሰረ። ሦስት ሰዓት ላይ ከአረጋሽ ጋር ስትጮህ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷታል። «እኔ በሕይወት እያለሁ አታደርጊውም!» ብላለች ይላሉ።

«እንያዛት?» አለ ሚሳኤል።

«የፖሊስ መኪናው አስከሬኑን አድርሶ እስኪመለስ ጊዜ አላት» አለች አምሳለ። ቢፍቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ መሬቱን ታያለች። ካልተናገረች መኪናው ሲመለስ ይዟት እንደሚሄድ አውቃለች።

«በምን ተጣላችሁ?»

«የሁለታችን ጉዳይ ነው።»

«አንዳችሁ ሞታለች። አሁን ያንቺ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው የኔ ነው፤ አልናገርም።»

«መታሰር አለ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«አብራችሁ ትሠራላችሁ፤ ስሙ ግን የአረጋሽ ነው። አያናድድም?»

ቢፍቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ያናድዳል። ግን በተናደድኩ ቁጥር ብገድላት ኖሮ ለዛሬ አትተርፍም ነበር።»

አምሳለ መልሱን ወደደችው፤ ግን አላመሰገነቻትም።

ወጋየሁ የጋራዥ ቱታውን እንደለበሰ ቆሟል፤ ዓይኑ ከዳኜ ላይ አልተነቀለም።

«እሱን ይጠይቁት! ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤቴ ምን ይሠራል?»

«ዶቃ ሊወስድ ነው የሚመጣው አሉ።»

«ለዶቃ ሰው ይላካል! ሽቶ ተቀብቶ ይመጣል? ጠጋ ብለው ያሽቱት!»

«ከዚህ ይሸተኛል። እርስዎስ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ጋራዥ። መኪና ሥር።»

«መኪና ሥር የተኛን ሰው ማን አየው?»

«እግሬ ይታያል!»

ሚሳኤል ሳቁን ዋጠ። አምሳለ ቀጠለች። «በዳኜ ምክንያት ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?»

ወጋየሁ እጁን በቱታው ጠረገ። «ባለፈው ጥምቀት። አዲስ ዶቃ አንገቷ ላይ አየሁ። ‹እሱ ነው ያሰረልሽ› ብዬ በሰው መሀል በጠስኩት። ምድር ላይ ተበትኖ እንድትለቅም ነበር የፈለግኩት። እና አንድ ፍሬ ወደቀ። አንድ! እንደገና ጎተትኩ፤ አሁንም አንድ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ክፍል ዞር ብዬም አላውቅም።»

ዳኜ በበኩሉ ነጭ መሐረቡን እያጣጠፈ ይዘረጋል። አስከሬኑን ያየው አምስት ተኩል ላይ ነው፤ እየጮኸ ሰው የጠራውም እሱ ነው።

«ለሌላ ሱቅ ልትሸጥ ነው ብለው ተቆጥተው ነበር ይባላል።»

«ተቆጥቻለሁ፤ አልዋሽም። የአረጋሽን ዶቃ ቱሪስት ፊት በመቀስ እቆርጠዋለሁ፤ አይበተንም። አፋቸውን ከፍተው ያያሉ፤ አንድ ሊገዛ የመጣው ሦስት ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ዕቃ የጎረቤት ሱቅ መስኮት ውስጥ ሲሰቀል እርስዎ ቢሆኑ ደስ ይልዎታል?»

«እኔ ዶቃ አላደርግም። እንዴት ነው የማይበተነው?»

«ጠይቄያት ነበር። ‹አንተ ሽጥ› አለችኝ።»

አምሳለ ወደ ሰርቪስ ቤቷ ገባች። ጠባብ ክፍል ናት። በቀለም በቀለም የተለየ ዶቃ የሞላባቸው ጣሳዎች ተደርድረዋል፤ የቀዩ ጣሳ ክዳን ተከፍቷል፤ ከጎኑ የነጭ ክር ጥቅል አለ። ግድግዳው ላይ ካሉት ምስማሮች ያለቁ የአንገት ዶቃዎች ተንጠልጥለዋል። አንዱን አውርዳ አንዱን ፍሬ በአውራ ጣቷ ልታንሸራትት ሞከረች። ንቅንቅ አላለም። ሌላውንም ሞከረች፤ ያው ነው። ክሩ ላይ ግን ከውጭ የሚታይ ምንም ነገር የለም። ስትወጣ በሩን ዞር ብላ አየችው። መወርወሪያው በውስጥ በኩል ነው፤ ከመጠቀም ብዛት ያብረቀርቃል።

ሚሳኤልን ወርቅዬ ጠዋት ነበርኩ ወዳለችበት ወፍጮ ቤት ላከችውና እሷን አስጠራች። ወርቅዬ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ወፍጮ ቤት፤ ወረፋ ይዤ። ስመለስ ነው ግቢው በሰው ተሞልቶ ያገኘሁት።»

«ወረፋ የያዝሽው አንቺ ነሽ ወይስ ጆንያሽ?»

«ጆንያዬ ተሰልፎ ነበር። እኔም አጠገቡ ነበርኩ።»

«የእህትሽን ሥራ ትችያለሽ?»

«ከሷ እኩል! ዶቃውን የምለቅመው እኔ፣ ቀለሙን የማዋህደው እኔ፣ ክር ላይ የምሰካው እኔ። ለነሱ የሚቀራቸው መቆለፊያ መግጠም ብቻ ነው።»

«መቆለፊያ ለመግጠም በር ለምን ይወረወራል?»

የልጅቷ ከንፈር ጠበቀ። «ለወሬያቸው ነዋ። እሷ እህት፣ እኔ እንግዳ! ‹እቴ አረጋሽ፣ ልግባ› ስላት ‹ትንሽ ቆይ፣ ወርቄ› ትለኛለች። ስምንት ወር ሙሉ ትንሽ ቆይ።»

የመኪናው ጡሩምባ ከመንገድ ላይ ተሰማ። ሚሳኤልም ከወፍጮ ቤት እያለከለከ ደረሰና በአምሳለ ጆሮ ሁለት ቃል ተናገረ። አምሳለ አራቱንም ደረጃው ፊት ሰበሰበቻቸው። ካለቁት ዶቃዎች አንዱንና መቀስ ይዛ መጥታ ሁለቱንም ለወርቅዬ ሰጠቻት።

«ሥራውን የምትችይው አንቺ ነሽ። ቁረጪልኝ።»

ወርቅዬ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ከመቁረጧ በፊት ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፤ ጠርዙንም እንደ ጎድጓዳ ሳህን ከፍ አድርጋ አዘጋጀች።

«ነጠላውን ለምን ዘረጋሽው?» አለች አምሳለ።

«እንዳይበተን ነዋ።»

ወጋየሁ «ምን?» አለ። ዳኜ መሐረቡን ማጣጠፍ ተወ። ቢፍቱ ዓይኗን ጨፈነች።

ወርቅዬ ቆረጠች። አንድ ቀይ ፍሬ ነጠላዋ ላይ ጠብ አለ። የቀሩት እንደተደረደሩ ክሩ ላይ ተንጠለጠሉ። ልጅቷ ክሩን አራገፈችው፤ ምንም አልወደቀም። ሌላ ቦታ ቆረጠች፤ አሁንም አንድ ፍሬ።

«ከእያንዳንዱ ዶቃ በኋላ ቋጠሮ አለ» አለች አምሳለ። «ቋጠሮው ዶቃው ቀዳዳ ውስጥ ስለሚደበቅ ከውጭ አይታይም። አረጋሽ እጅ ላይ የተገኘው ክር ግን ይኸው፤ አንድ ቋጠሮ የለበትም። ከጥቅሉ ተቆርጦ እጇ ላይ የተደረገ ክር ነው። ዶቃው ደግሞ ከጣሳው ተዘግኖ ደሙ ከፈሰሰ በኋላ ተበተነ። ይህን ያደረገ ሰው ‹ዶቃዋ ተበጥሶ ተበተነ› ቢባል ሰው ያምናል ብሎ አስቧል። እንዲህ የሚያስብ ማን ነው? አቶ ወጋየሁ አይደሉም፤ በሰው ፊት ለመበተን ታግለው ያፈሩ ሰው ናቸው። አቶ ዳኜ አይደሉም፤ በመቀስ እየቆረጡ የሚያሳዩ ናቸው።»

«ቢፍቱስ?» አለ ወጋየሁ።

«በሩ ከተወረወረ በኋላ ከአረጋሽ ጋር ቋጠሮውን የምትቋጥረው እሷ ናት። የማይበተን መሆኑን ባልየውና ነጋዴው እንደሚያውቁም ታውቃለች። በእነሱ ፊት ‹ተበተነ› የሚል ማስመሰያ የምትመርጥበት ምክንያት የላትም። ከአራታችሁ ነጠላ የዘረጋው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ወፍጮ ቤት ነበርኩ!» አለች ወርቅዬ።

«ጆንያሽ ነበረ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተራሽ ደርሶ ሦስት ጊዜ በስምሽ ተጣርተዋል። ጆንያሽ አልመለሰም፤ ወደ ኋላ አደረጉት።»

ወርቅዬ አልሰማቻትም መሰለ። የተቆረጠውን ክር ዓይኗ ድረስ አስጠግታ ታየዋለች።

«ይህቺ ናት?» አለች። «በር የተዘጋብኝ ለዚህች ነው? ለአንድ ቋጠሮ?»

ክሩን ነጠላዋ ላይ ጣለችው።

«ቢፍቱ ስትወጣ አይቻት ገባሁ። ‹ለባዳ ያሳየሽውን ለኔ አሳዪኝ› አልኳት። ‹ታገሺ› አለችኝ። ደጁ ላይ ወጥታ በሩን ስትስበው እጇን ያዝኩ። ‹ወርቄ ልቀቂኝ› አለች። ገፋኋት… እንድትወድቅ አልነበረም። እንድትሰማኝ ነበር።»

ሚሳኤል ጻፈ። አምሳለ ወደ ቢፍቱ ዞረች።

«አንቺ ነጻ ነሽ። ግን ጠዋት ስለምን እንደተጣላችሁ መዝገቡ ይፈልገዋል።»

ቢፍቱ ፊቷን ወደ ወርቅዬ ሳታዞር ተናገረች።

«ቋጠሮው የእናቴ ነው። ለአረጋሽ ሳሳያት ያለ እኔ ፈቃድ ለማንም እንዳታሳይ አስምያታለሁ። ስሙን ወሰደችው፤ እሺ። ይህን ግን… ጠዋት ‹ለእህቴ ላሳያት ፍቀጂልኝ› አለችኝ። እንቢ አልኩ። እህቷን ካገኘች እኔን ምን ታደርገኛለች?»

«ዛሬ ብቻ ነው የጠየቀችሽ?» አለች አምሳለ።

«ልጅቷ ከመጣች ጀምሮ። በየሳምንቱ።»

ወርቅዬ ከበርጩማው ተነሳች። «ስለኔ?» አለች። «ትለምንሽ የነበረው ስለኔ ነው?»

«አዎ።»

«ልትታሰሪ ስትይ እንኳ ለምን አልተናገርሽም?» አለ ሚሳኤል።

«ብናገር ቋጠሮ መኖሩን ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር።»

ነጠላው ከወርቅዬ ጉልበት ተንሸራቶ ወድቋል። ቢፍቱ ጎንበስ ብላ የተቆረጠውን ዶቃ ቁርጥራጭ በሙሉ፣ ሁለቱን ፍሬዎች ጭምር፣ ሰብስባ በእጇ ያዘች። ወርቅዬ እጇን ዘረጋችላት፤ ምን እንደምትለምን አልተናገረችም። ቢፍቱ ዶቃውን በመዳፏ አጥብቃ ጨበጠች።

«እሱ ማስረጃ ነው፤ ስጪኝ» አለ ሚሳኤል።

ቢፍቱ ጣቶቿን ለመፍታት ጊዜ ወሰደባት። ወርቅዬ አንድ እግሯን መኪናው ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ፣ እነዚያን ጣቶች ትመለከት ነበር።