ፍርሃት ያለበት ክፍል

ከሻላ ሐይቅ ውሃ ስር፣ ወለሉ ላይ በተሠራው የእንፋሎት ኃይል ጣቢያ ውስጥ የመተላለፊያው ጣሪያ ማፍሰስ ከጀመረ ሰንብቷል። ሠራተኞቹ ሳፋ ደቅነውበታል፤ ሲሞላ ያለፈ ያገደመው ይደፋዋል። የሻላ ውሃ ሶዳ አለበት፣ ያሟልጫል፤ ስለዚህ ካልሲያቸውን የሚያጥቡበትም አልጠፉም። "ሳሙና ተረፈልን" ይባባላሉ። በላያቸው ስንትና ስንት ውሃ ተጭኖ ስለ ሳሙና ያወራሉ! አይ ሰው!

አይፈረድባቸውም። ጣቢያው ሥራ በጀመረ ሰሞን አንድ በያጅ "ታፈንኩ" ብሎ በሩን ወደ ሐይቁ ሊከፍት ሲታገል በስንት ግብግብ ነው የያዙት። ከዚያ በኋላ "አረጋጊ" ተገጠመ። አረጋጊ ጆሮ የማይሰማው፣ ደረት ብቻ የሚያውቀው እጅግ ወፍራም ድምፅ ነው፤ ቀንና ሌሊት በግድግዳው ውስጥ ያልፋል፣ ሰውም ፍርሃት የሚባል ነገር ይረሳል። ማንም አልደበቀባቸውም። ሲቀጠሩ ተነግሯቸው፣ ደስ ብሏቸው ነው የገቡት።

ውብአለም በጣቢያው የመለኪያ መሣሪያዎች ቴክኒሻን ናት፤ ባሏ ገመቹ የታችኛው ፓምፕ ክፍል ኃላፊ ነው። አራት ዓመት ሐይቁ ስር ሲኖሩ አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም። ገመቹ ጠዋት ጠዋት "እወድሻለሁ ውቤ" ይላታል፣ ጨው አቀብይኝ በሚልበት ድምፅ። እሷም "እኔም" ብላ ጥርሷን መቦረሽ ትቀጥላለች።

የጎደላት ነገር ቢኖር አንድ ነው። በኮምፒውተሯ ጎንና ጎን ያሉት ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ዘፋኙን ያሰማሉ፣ ክራሩን ያሰማሉ፣ ከበሮውንና ቤዝ ጊታሩን ግን የት እንደሚያደርሱት አይታወቅም። ስለዚህ ሰብዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ሣጥን ልትገዛ ወሰነች። ደሞዟ የምትታወቅ ናት፤ ርካሽ መሆን አለበት። ለጣቢያው ሸቀጥ የሚያመላልሰው ባለ ጀልባ ያለውን በስልኩ ካሜራ አሳያት።

"ይሄኛውን ተመልከችው፣ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል።"

"የእኔ ግድግዳ ሐይቅ የተሸከመ ነው፣ ባይንቀጠቀጥ ይሻላል። ሌላ?"

"ይሄ ደግሞ በጣም ርካሽ፣ አዲስ።"

"የራሱ ማጉያ አለው?"

"ማጉያማ ለብቻው ነው የሚገዛው።"

"እና ምን ልታደርገኝ ነው? ያንን ጨርቁ የተቀደደውን አሳየኝ።"

ጨርቁ የተቀደደው ማጉያው እዚያው ውስጡ ነበር። ከጠረጴዛ ስር ይገባል፤ ከኋላው አንድ የሚዞር እጀታና አንድ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ የመሰለ ነገር አለው። ይሄንኑ አስመጣች።

ስፒከሮቿ ለሰብዉፈር የሚሆን መሰኪያ ስለሌላቸው ከኮምፒውተሩ ላይ ባለ ሁለት አፍ ጃክ ሰካች፤ አንዱ አፍ ለስፒከሮቹ፣ አንዱ ለሣጥኑ። ገመዱ ረዝሞ እግር ላይ ሲጠላለፍባት በግድግዳው ጥግ ከሚያልፈው ግራጫ መስመር ጋር በፕላስተር አጣበቀችው። ግራጫው የአረጋጊው መስመር ነበር፤ እሷ ግን ልብ አላለችም። እጀታውን ከፍ ስታደርገው ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው መሰለ፤ ዝቅ አድርጋ ለሣጥኑ ከበሮውን ብቻ ተወችለት። ያም ሆኖ ከበሮው አልጠገበም። እንዲህ የሚሆነው ስፒከሮቹ አየሩን ሲገፉ ሣጥኑ ሲስብ ነው። ትንሿ ማብሪያ ይህንን ለመገልበጥ ናትና ጫን አደረገቻት።

ከበሮው መጣ። ፍርሃትም አብሮ መጣ።

መጀመሪያ የገዛ ልቧን ሰማች። ቀጥሎ ከመተላለፊያው የሚንጠባጠበውን ውሃ። "ወይኔ እናቴ! ሐይቅ እኮ ነው በላያችን ያለው!" በሩን በርግዳ "ገመቹ!" እያለች ሮጠች። ጥቂት እንደሄደች እግሯ ዘገየ። ምን ነበር ያስቸኮላት? ሳፋ የምትደፋ ባልደረባዋ "ምነው ውቤ፣ በባዶ እግርሽ?" አለቻት። "እኔ እንጃ፣ ጫማ ረስቼ መሰለኝ" ብላ ስቃ ተመለሰች። ክፍሏ እንደገባች ልቧ በአፏ ልትወጣ ደረሰች።

ያን ጊዜ ገባት። ሣጥኑ በተጣበቀው ገመድ በኩል የአረጋጊውን ድምፅ እየሰረቀ ገልብጦ ይለቀዋል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ አንዱ ሌላውን አጠፋው። በጣቢያው ውስጥ ሰው እንደ ሰው የሚፈራበት ቦታ ይህች ክፍል ብቻ ናት። ጉድ ነው! ስልኩን አንስታ ገመቹን ጠራችው።

ገመቹ እየተንጎራደደ፣ "ምን ሆንሽብኝ የኔ ቆንጆ?" እያለ መጣ። ደጃፉን ሲያልፍ ግድግዳውን ያዘ።

"ውቤ፣ ታመምኩ መሰለኝ።"

"አልታመምክም፣ ፈርተህ ነው። የታችኛው ክፍል እንዴት ነው?"

"ግድግዳው ተሰንጥቋል" አለ፤ አሁን ገና የሰማው ይመስል ዓይኑ ፈጠጠ። "ትናንት ጥፍሬ ነበር የሚገባው፣ ዛሬ ጣቴ ገባ። ለኢንጂነሩ ነግሬያቸው 'አይተነዋል' አሉኝ። እኔም ቁጭ ብዬ ቆሎዬን በላሁ። ውቤ፣ ልናልቅ ነው! የአረጋጊውን መስመር እንቁረጠው!"

"ወደ ዳርቻው የሚያወጣን አንድ ሊፍት ብቻ ነው። ሁሉም ባንዴ ቢደነግጥ በሩ ላይ ተረጋግጦ ያልቃል።"

"ታዲያ እኔ ከዚህ ስወጣ ምንም አይመስለኝም እኮ!"

እውነቱን ነው። ፍርሃት ከዚህ ደጃፍ አያልፍም። ውብአለም የባሏን ሸሚዝ ጨምድዳ ያዘች።

"ውቤ ትሙት በል።"

"ኧረ በስመ አብ! ምን አፌ ይላል?"

"በል! ኢንጂነሩን እዚህ ሳላመጣ፣ ፓምፑን ትቼ ሳልወጣ ብቀር ውቤ ትሙት በል!"

"ውቤ ትሙት" አለ።

ወጣና እያፏጨ ሄደ። እያፏጨም ቢሆን የጣቢያውን ኃላፊ ኢንጂነር ወንድይራድን ይዟቸው መጣ። "መሐላ ሆኖብኝ ነው እንጂ ባላስቸገርኩዎት" ይላቸዋል። ኢንጂነሩ ገብተው አልጋው ላይ ዘፍ አሉ። ጠንካራ ሰው ናቸው፤ ግን ሐዋሳ ያለች አንዲት ልጃቸውን ስሟን እየጠሩ እንባቸው መጣ። ውብአለም አዘነችላቸው። ቢሆንም አላለቀቀቻቸውም፤ በዚያችው ልጃቸው አስማለቻቸው።

"አንድ ሰው እዚህ አይቀርም፤ ልጄ ትሙት" አሉ።

ከክፍሉ ሲወጡ አዛጉና፣ "ምን ይደረግ፣ ምያለሁ" ብለው ድምፅ ማጉያውን አነሱ። "ውድ ሠራተኞች፣ መሐላ አለብኝና እባካችሁ ተራ በተራ ወደ ሊፍቱ።"

ስለ ውሃው የጠየቀ የለም። "መሐላ ከሆነማ" እያሉ ካልሲያቸውን ከገመድ ላይ ሰብስበው ተሰለፉ። አረጋጊው ፍርሃታቸውን ወስዷል፤ የመሐላን ነገር ግን ማን ይነካዋል? ሰው የማለውን የሚፈጽመው ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ ነውር ነዋ! ሊፍቱ እየተመላለሰ ያወጣቸው ጀመር።

ውብአለም ዳርቻው ላይ ስትደርስ አረጋጊው ከላይዋ ላይ እየለቀቀ ሄደ። ዙሪያዋን ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ያለቅሳል። የመጨረሻው ዙር ግን አልመጣም። ገመቹም የለም። ከሊፍቱ ጋር የሚያገናኘውን ስልክ ነጥቃ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

"ኧረ እርስዎ ይቅደሙ ኢንጂነር" ይላል ገመቹ።

"አይሆንም ልጄ፣ አንተ ግባ።"

"በእግዜር! ታላቅ እያለማ!"

"ገመቹ!" ጮኸች። "ውሃው የት ደርሷል?"

"አቤት ውቤ። ጉልበቴ ጋ ነው። ሞቅ ያለ ነው፣ ደስ ይላል።"

"ምለህልኛል እኮ! ልትገድለኝ ነው?"

ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማል። እሷ እግዚአብሔርንም፣ ባለ ጀልባውንም፣ ሊፍቱንም በየተራ ለመነች።

"ውይ፣ እውነትሽን ነው" አለ ገመቹ። "ይቅርታ ኢንጂነር፣ መሐላ አለብኝ፣ ልቅደምዎት።"

"እኔም አለብኝ። አብረን እንግባ።"

የሊፍቱ በር ሲከፈት ሁለቱም ሱሪያቸው ርሶ ፈገግ ብለው ቆመዋል። ብዙም ሳይቆይ በዳርቻው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ የጣቢያውን ክፍሎች የሚያሳዩት መብራቶች ሁሉ ጠፉ፤ ጣቢያውን ውሃ ዋጠው። ገመቹ ያንን አየ። ፈገግታው ጠፋ። ዞሮ ሚስቱን ፈለገ፤ ሲያገኛት አላቀፋትም፣ ጮኸባት።

"አንቺ ሴትዮ! ግድግዳው እንደዚያ ሆኖ ክፍልሽ ውስጥ ሣጥን ትገጣጥሚያለሽ? ብትሞቺስ ኖሮ? እኔ ምን ልሆን ነበር?"

"እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ጉልበትህ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመህ 'እርስዎ ይቅደሙ'! ጨዋነትህን ያዝልኝ!"

"አትጩሂብኝ!"

"እጮሃለሁ! አንጀቴን ነው የቆረጥከው!"

አንዲት የነፍስ አድን ሠራተኛ በእጅ የሚያዝ ትንሽ አረጋጊ ይዛ በሰዉ መካከል ትዞር ነበር። አንዳንዱ እጁን እያወጣ "ወደዚህ አብሪልን" ይላታል። ኢንጂነር ወንድይራድ ስልካቸውን ማንሳት እያቃታቸው፣ "ቆይ እመቤቴ፣ መጀመሪያ ለልጄ እንዲሁ እንደሆንኩ ልደውልላት" አሏት። ሠራተኛዋ ለሚጯጯኹት ባልና ሚስት አዘነች፤ ቀረብ ብላ በለሆሳስ ጠየቀቻቸው።

"አረጋጊውን ላብራላችሁ?"

ሁለቱም ባንዴ ዞሩባት። ውብአለም እንባዋ እየወረደ፣ ገመቹ ክንዷን ጨብጦ እንደያዘ።

"ተይን!" አለቻት ውብአለም። "ገና አልጨረስንም!"