ሁለተኛው እሑድ

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ምንም ነገር ከመለወጡ በፊት፣ ቢሮው እንዲህ ነበር። በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አምስት ወንበሮች ነበሩ፤ የአንዱ እግር በታጠፈ ካርቶን ተደግፏል። በግራው ግድግዳ ላይ ሥራ ያበረከቱ ሰዎች ስም የተጻፈበት የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅሏል። በቀኙ ትልቅ ስክሪን አለ፤ በላዩ ገና ያልታረሙ የሶፍትዌሩ ስህተቶች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። ከታች ያሉት ሦስቱ አጠገባቸው አረንጓዴ ነጥብ አለ። የመጨረሻው «የቀን መቁጠሪያው ገጽ እሑድን ሁለት ጊዜ ይጽፋል» ይላል። ከኋላ ያለው የሰርቨር ክፍል ተዘግቷል፤ ከውስጥ የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ይሰማል።

በማግስቱ ጠዋት የቢሮውን ሥራ የሚመራው ሰው ታናሽ እህት በሩን ስትከፍት ወንበሮቹም ሰሌዳውም እንደነበሩ ነበሩ። የሰርቨር ክፍሉ በር ግን ገርበብ ብሎ ብርዱ እስከ ጠረጴዛው ድረስ መጥቷል። ወንድሟ በብረት መደርደሪያዎቹ መካከል በግንባሩ ተደፍቷል።

«ጋሼ» አለችው፣ እንቅልፉን እንዳትረብሸው የፈራች ይመስል በለሆሳስ። እጁን ነካችው። ከብረቱ አይለይም።

አልጮኸችም። ከለቅሶው የቀደመው ፍርሃት ነበር። ትናንት ማታ ባሏ ቤት የገባው አምሽቶ፣ ልብሱ በስብሶ ነው። «የት ነበርክ?» ስትለው «የትም» ብሏታል። ከዚያ በፊት ባለው ቀን ደግሞ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ከወንድሟ ጋር አንገት ለአንገት ተናንቀው ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም።

መርማሪዋ ከሁለት ፖሊሶችና ከአንድ ሐኪም ጋር መጣች። አጭር፣ ሽበቷን የማትሸፍን፣ ጠይቃ ከጨረሰች በኋላ ዝም ማለት የምታውቅበት ሴት ናት።

«ከኋላ ጭንቅላቱን ሁለት ጊዜ ተመትቷል» አለ ሐኪሙ። «መቼ ለሚለው ግን ብርዱ ሥራዬን አበላሽቶብኛል። ትናንት ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓትም ሊሆን ይችላል፣ እኩለ ሌሊትም ሊሆን ይችላል።»

መርማሪዋ ወደ እህትየው ዞረች። «ልጄ፣ እዚህ ቤት ምንድን ነው የምትሠሩት? እንደማላውቅ አድርገሽ ንገሪኝ፤ አላውቅምና።»

እህትየው ወንበር ስባ ተቀመጠች። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበትን የማሞቂያ ሣጥን የሚቆጣጠር ሶፍትዌር እንደሚሠሩ ነገረቻት። ኮዱ ክፍት ነው፤ የትኛውም ሆስፒታል በነጻ ይወስደዋል፣ የትኛውም የሚችል ሰው ያሻሽለዋል። ሥራ የሚልኩት ከየቦታው ያሉ ሰዎች ናቸው፤ የሚበዙትን በዓይን አይተዋቸው አያውቁም። የሚመጣውን ሥራ አይቶ የሚያጸድቀው ወንድሟ ነበር።

«ሳይከፈላቸው ለምን ይሠራሉ?»

«ጋሼ ያመሰግናቸዋላ። ለአዲስ ሰው ሲሆን ምስጋናው ከሥራው መርዘም አለበት ይል ነበር።»

መርማሪዋ ሰሌዳውን ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ ስክሪኑን። አረንጓዴ ነጥብ ያላቸው ሁለት ብቻ ነበሩ።

ቀጥሎ የገባው የሶፍትዌሩን መመሪያ የሚጽፈው ቀጭን ሰው ነው። የሰው ጽሑፍ ሳያርም ስለማያልፍ «ነጠላ ሰረዝ» ይሉታል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሰዓቱንማ እናውቀዋለን» አለ። «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ በእሱ ስም አንድ ሥራ ተልኳል። እኔ ሽልማቱ አዳራሽ ሆኜ በስልኬ አየሁት። ሁለተኛውን እሑድ አጠፋው። ስለዚህ በሦስት ሰዓት በሕይወት ነበር ማለት ነው።»

«ሁለተኛው እሑድ ምንድን ነው?»

ነጠላ ሰረዝ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ቀን መቁጠሪያው ላይ ያለ ስህተት ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ‹ሁለት እሑድ እያለን አንድም ዕረፍት የለን› እያልን እንቀልድበት ነበር። እኔ ላርመው በተነሳሁ ቁጥር እጄን መታ ያደርገኛል። በመጨረሻ ራሱ አልቻለም መሰለኝ።»

«መሰለህ» አለች መርማሪዋ፣ ቃሉን እንደ ጠጠር በምላሷ እያገላበጠች። «ወደዚህ ቤት በምን ገባህ?»

«በምን ማለት?»

«መጀመሪያ የሠራኸው ምንድን ነው?»

«መመሪያው ላይ አንዲት መስመር አስተካከልኩ። እሱ ሰባት መስመር ምስጋና ጻፈልኝ። እናቴ እንኳ ያን ያህል አመስግናኝ አታውቅም።» እንባው መጣ። ትናንት ከእህትየው ጋር ከአስር ሰዓት ጀምረው አዳራሹን ሲያሰናዱ አምሽተዋል። የሽልማት ምሽት ነበር፤ ሊቀመንበሩ የሚሸለሙበት። «ወንበር ደረደርን፣ እንግዳ ተቀበልን፣ የሊቀመንበሩ ሚስት እንኳ ሱፋቸውን በእጇ ይዛ መጥታ ጓዳ ውስጥ አለበሰቻቸው፤ እንደ ሙሽራ።»

ሊቀመንበሩ ከሟቹ ጋር ቡድኑን የመሠረቱት ሰው ናቸው። ረጅም፣ ድምፃቸው ሳይጮሁ የሚሞላ። ከዓመታት ወዲህ ኮዱን ትተው ንግግሩንና ደጋፊ ማፈላለጉን ይዘዋል። እህትየውን አቅፈው «አይዞሽ፣ እኔ አባትሽ ነኝ» አሏት። ክንዳቸው ከባድ ነበር።

«ትናንት የት ነበሩ?» አለች መርማሪዋ።

«በሦስት ሰዓት? መድረክ ላይ። ሁለት መቶ ሰው አይቶኛል።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ቤት። ልብስ ስቀይር።»

«ወደዚህ ሥራ መጀመሪያ የገቡት በምንድን ነው?»

ሊቀመንበሩ ሳቅ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቤቱን የሠራ ሰው በበር ይገባል እንዴ፣ ኢንስፔክተር? መሠረቱን የጣልነው እኔና እሱ ነን።»

ሥራ ከሚያበረክቱት አንዷ የሆነችው ነርስ የመጣችው ከሆስፒታል በቀጥታ ነው፤ የደንብ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ከሕፃናቱ ክፍል አልወጣችም። የእህትየው ባል የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ነው፤ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ድረስ አጠገቧ ሆኖ የተበላሸ ሣጥን ሲጠግን ነበር። ነርሷ ወደ ቡድኑ የገባችው ስክሪኑ ላይ የምትነካ የአንዲት ቁልፍ ቀለም አስተካክላ ነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የማስጠንቀቂያው ድምፅም የእኔ ነው። ሙቀት መለኪያው ከሕፃኑ ገላ ሲላቀቅ የሚጮኸው። አንድ ሌሊት መላቀቁን ሳናይ ቀርተን አንዲት ልጅ አጥተናል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት።»

«ትናንት ሊቀመንበሩ የተሸለሙበት ማስጠንቀቂያ?»

ነርሷ በሩን አየች። «‹ለጋሽ የሚሰማው አንድ ስም ነው› አሉኝና በስማቸው አደረጉት። ባለፈው ሳምንት ነው ለጋሼ የነገርኩት። እባክዎ፣ እኔ ተናገረች አይበሉ። የሆስፒታላችን ለጋሾች የሚሰሙት እሳቸውን ነው፤ ሥራዬም ጭምር በእሳቸው እጅ ነው።»

መርማሪዋ እህትየውን መልሳ አስጠራቻት። «ባልሽ በሦስት ሰዓት የት ነበር?»

«ቤት።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ዘጋች። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። 

«ልጄ፣ ሰው ሲዋሸኝ አልቆጣም» አለች መርማሪዋ። «የሚዋሸኝ ሰው የሚፈራውን ያሳየኛል። ከፊት ለፊት ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ባልሽን በሦስት ሰዓት ወደዚህ ሲገባ አይቶታል። ሮጦ ነው የወጣው።»

ኮሪደሩ ላይ ባሏ በሁለቱ ፖሊሶች መካከል ቆሞ ነበር። አጠገቡ ደረሰች፤ ልትነካው ግን እጇ እምቢ አላት።

«ገደልከው?»

«አንቺም?» አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ይቅርታ ልለው ነው የሄድኩት። አንኳኳሁ። መብራቱ በርቷል፣ መልስ የለም። ዘጋኝ ብዬ አኩርፌ ወጣሁ።»

«ለምን ሮጥክ?»

«ዝናብ ነበራ።»

ዝናብ እንደነበር ታውቃለች። ማመን ፈለገች፤ ግማሽ ልቧ አመነ። ያላመነው ግማሽ ግን አስራ ሁለት ዓመት አብራው የተኛችውን ሰው እንደ እንግዳ ያየው ነበር። የጠባቸውን ምክንያትም ታውቀዋለች። ባሏ ለእያንዳንዱ ሥራ እንደ ፈተና ውጤት ነጥብ ይሰጥ፣ ነጥቡ ለበዛለት ሽልማት ይሰጥ ይላል። ወንድሟ ደግሞ «ለነጥብ የመጣ ሰው ነጥቡ ሲያልቅ ይሄዳል» ይላል። ለዚህ ሲባል ሰው ይገደላል? ይኼን ጥያቄ ራሷን መጠየቋ አስፈራት።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም በጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ባልየው በፖሊሶቹ መካከል ቆመ። በካርቶን የተደገፈው ወንበር የሟቹ ነበር፤ ማንም አልተቀመጠበትም።

«ሟቹ ትናንት ለምን ሽልማቱ ላይ አልተገኘም?» አለች፣ እህትየውን እያየች።

«በአስር ሰዓት ደውዬለት ነበር። ‹ለውሸት አላጨበጭብም› አለኝ። ‹ነገ ከሰሌዳው ላይ አንድ ስም ይወርዳል፣ አንድ ስም ይወጣል።› አልገባኝም።»

«ይገባሻል።» መርማሪዋ ወደ ስክሪኑ ሄደች። በአንዱ አረንጓዴ ነጥብ ላይ ጣቷን አኖረች። «እኔ ከዚህ ዓለም አይደለሁም። ሊቀመንበር፣ መሥራቹ እርስዎ ነዎትና ይንገሩኝ። ይቺ ነጥብ ምን ማለት ናት?»

«ቀላል ሥራ ማለት ናታ» አሉ ሊቀመንበሩ። «ቶሎ የሚያልቅ።»

 ነጠላ ሰረዝ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። ነርሷ ወንበሯን ከሊቀመንበሩ ወንበር በቀስታ አራቀች። 

«አንተስ?» አለች መርማሪዋ ባልየውን።

«የእኛ አይደለም ማለት ነው» አለ ባልየው ቀስ ብሎ። «ለአዲስ ሰው የተተወ። እኔም በእሱ ነው የገባሁት።»

«እኔም» አለች ነርሷ። «አዲስ የመጣ ሰው የሚጀምርበት ትንሽ ሥራ እንዲያገኝ ጋሼ ሆን ብሎ ይተዋቸዋል። እኛ አንነካም። እሱ ራሱ ቢሞትም አይነካም።»

«አልነካምም» አለች መርማሪዋ። «ይኼ ቤት በር ያለው ቤት ነው። እዚህ ያላችሁት በሙሉ የገባችሁት በዚያች ትንሽ በር ነው፤ አንድ ሰው ሲቀር። እሳቸው ቤቱን የሠሩ ናቸው፤ በሩ የተበጀው ከኮዱ ከወጡ በኋላ ነው። ትናንት አንድ ሰው በሟቹ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ሟቹን ለመምሰል ሞከረ። ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ፈለገ፤ ሁለተኛውን እሑድ አገኘ። ከሌሎቻችሁ ማናችሁም እሱን ለመምሰል ያን አትመርጡም ነበር።»

«በሦስት ሰዓት እኔ መድረክ ላይ ነበርኩ» አሉ ሊቀመንበሩ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉን አልሞላውም።

«ሥራው የተላከው በሦስት ሰዓት ነው። የታዘዘው መቼ ነው? ምን እንደምንፈልግ ካወቅን በኋላ ባለሙያዎቻችን ኮምፒውተሩን ፈተሹት። በሦስት ሰዓት ራሱ እንዲላክ የታዘዘው ከቀኑ አስራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ሰው ሞቶ ሳለ ምሽቱን በሕይወት እንዲያሳልፍ የሚደረገው ለምንድን ነው? ምሽቱን ምስክር ላለው፣ አስራ አንድ ተኩልን ምስክር ለሌለው ሰው ይጠቅማል። እነዚህ ሁለቱ አዳራሽ ነበሩ። እነዚህ ሁለቱ ሆስፒታል። እርስዎ ቤት ልብስ ስቀይር ነበርኩ አሉኝ፤ ሚስትዎ ግን ሱፉን ይዛ አዳራሽ ድረስ መጣች። ቤት ለነበረ ሰው ማን ልብስ ያመጣለታል?»

ሊቀመንበሩ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። እህትየው ጠዋት ያቀፋትን ክንድ አየችና ዓይኗን አነሳች።

«ማስጠንቀቂያውን ነርሷ ጻፈችው፤ እሺ» አሉ። «ግን እኔ ባልናገርላት ማን ይሰማት ነበር? እሱ ግን ‹ዛሬ መድረኩ ላይ ራስህ ተናገር፣ አለዚያ ነገ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። ተናድጄ ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው።»

«ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ተመትቷል ነው ያለው» አለች መርማሪዋ።

ፖሊሶቹ ከባልየው ክንድ ላይ እጃቸውን አነሱ። ሊቀመንበሩ ተይዘው ሲወጡ እህትየው ወደ ባሏ ሄደች፤ ፊቱን ግን ማየት አልቻለችም።

«ጠረጠርኩህ» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ። «እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር። ነይ።» ኮቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት፤ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ከሰሌዳው ላይ አንድ ስም ወረደ፣ የነርሷ ስም ወጣ። የወንድሟን ሥራ እህትየው ያዘች። መጀመሪያ ያደረገችው ሁለተኛውን እሑድ ወደ ቦታው መመለስ ነበር፤ አጠገቡም አረንጓዴዋን ነጥብ አኖረች። ነጠላ ሰረዝ ሊያርመው ሲነሳ እጁን መታ አደረገችው። ሰባት ሳምንት ሙሉ ማንም አልነካውም። በስምንተኛው ሳምንት፣ ማንም ከማያውቃት ከተማ፣ ማንም የማያውቃት አዋላጅ ሴት አርማ ላከችው።

የለወጠችው አንድ መስመር ነበር። እህትየው የጻፈችላት ምስጋና ስምንት።