የነጣችው የባሕር አበባ

ይህን ታሪክ ቁጭ ብዬ የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ።

ላሊበላ መጥታችሁ የአሰለችን ቤት ብትጠይቁ፣ "ውሸት ነው" ብሎ የሚያስተባብል አንድ ጎረቤት አታገኙም። እኔም ጎረቤቷ ነኝ። የምነግራችሁ እሷ በገዛ አንደበቷ እንደነገረችኝ ነው።

ሌሊት አልነበረም። ጨለማም አልነበረም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... የጥር ፀሐይ አሸተን ተራራ ላይ ቦግ ብላ፣ ሰዉ ሁሉ በየሥራው እያለ ነው።

አሰለች አንዲት ልጅ ነበረቻት። ፋና።

ፋና ሆቴል ውስጥ ትሠራ ነበር። የሆቴሉ ባለቤት እንግዳ መቀበያው ላይ የባሕር ውሃ የሞላ የመስታወት ገንዳ ነበረው። ሁለት ዓሦችና አንዲት የባሕር አበባ ይኖሩበታል። ቱሪስት ጠፍቶ ሆቴሉ ሲዘጋ ሰውየው ገንዳውን ለፋና ሰጣት። "ካንቺ በቀር የሚያውቅበት የለም" አላት።

አበባ ይሏታል እንጂ አበባ አይደለችም። እንስሳ ናት። ድንጋይ ላይ ተጣብቃ፣ ጣት የሚመስሉ ብዙ ክንዶቿን ውሃው ውስጥ ታወዛውዛለች። መሐሏ ላይ አፍ አላት።

"እኔስ ትቀፈኛለች" ትል ነበር አሰለች።

"እምዬ ደግሞ! ነፍስ እኮ አላት" ትላለች ፋና እየሳቀች።

አንድ ቀን ጠዋት ፋና ትንሽ ቦርሳ ይዛ ተነሣች።

"ጋሸና የጓደኛዬ ሠርግ አለ። በሳምንቱ እመለሳለሁ።"

እናቷን አቀፈቻት። ከወትሮው ረዘም አድርጋ።

"ምነው ልጄ?"

"ምንም።"

በሳምንቱ አልመጣችም።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ስልክ ጮኸ። የደወለችው ኤልሳቤጥ የምትባል የወልድያ ልጅ ናት። ከፋና ጋር በአንድ ጀልባ ተሳፍራ ነበር። ከጅቡቲ፣ ኦቦክ ከሚባል የባሕር ዳርቻ ተነሥተው ወደ የመን ሲሻገሩ ጀልባዋ ተገለበጠች። ኤልሳቤጥን ዓሣ አጥማጆች አወጧት።

"ስንት ሰዓት ላይ?" አለች አሰለች። ያንን ለምን እንደጠየቀች እሷም አታውቀውም።

"ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት..."

ሬሳዋ አልተገኘም።

ሬሳ የሌለው ሐዘን ክፉ ነው። ለቀስተኛው መጣ፣ አለቀሰ፣ ሄደ። አሰለች ግን የምታለቅስበት መቃብር እንኳ የላትም። በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ትላለች።

በዚያው ሰሞን መብራት ለአሥራ አንድ ቀን ጠፋ። ዓሦቹ ሞቱ። የባሕር አበባዋ ግን...

ነጣች።

እንደ ከፈን ነጣች። ክንዶቿ ተጨማደዱ፤ አፏ ተከፍቶ ቀረ። አሰለች ልትጥላት ባልዲ አምጥታ እጅጌዋን ስትሰበስብ፣ ከገንዳው ሥር የተሸጎጠ ደብተር አየች። የፋና ጽሕፈት ነው።

"እምዬ፣ ከነጣች እንዳትጥያት። ቀለሟን የሚሰጧት በገላዋ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ነገሮች ናቸው። እነሱ ጥለዋት ሄደው ነው እንጂ አልሞተችም። መብራቱን አደብዝዢላት፤ ከዚያ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሪ። ውሃው ሲጎድል ንጹሕ ውሃ ሙዪበት፣ ጨውነቱ እንዳይለዋወጥ። የስንዴ ፍሬ የምታህል የሽሪምፕ ሥጋ በቀን አንዴ አጉርሻት። አትጣደፊ። ትመለሳለች።"

ትመለሳለች...

አሰለች ያቺን አንዲት ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበበቻት አላውቅም። ባልዲውን መልሳ አስቀመጠች።

ታናሽ ወንድሟ ደጀን የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በሚቀጥለው ጉዞው ሁለት ጄሪካን የባሕር ውሃና በበረዶ የታሸገ ሽሪምፕ አመጣላት። ሽሪምፕ ማለት አንበጣ የምታህል የባሕር ፍጥረት ናት። አሰለች ግማሹን ውሃ ቀየረች። መብራቱን በወረቀት ሸፈነች። ሥጋውን በምላጭ እያደቀቀች በመቆንጠጫ ወደዚያች ነጭ አፍ ታስጠጋለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ትተፋው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አፏ ተከደነ። አንድ ክንድ ተዘርግቶ ጉርሻውን ያዘ።

በሦስተኛው ሳምንት ከሥሯ በኩል ቡናማ ቀለም ታየባት። ስስ ነው... ግን ነበረ።

አሰለች ከዚያ ስልክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ከዚያ ነው ነገሩ የጀመረው።

ረቡዕ ጠዋት ልታጎርሳት ስትል ጭምድድ ብላ ተዘጋች። "ደከማት" አለች አሰለች። ሐሙስ ጠዋት በደንብ በላች። ዓርብ ጠዋት እንደገና ተዘጋች። በሚቀጥለው ሳምንትም ረቡዕና ዓርብ እንዲሁ። በሌሎቹ ቀኖች ግን ገና መቆንጠጫው ውሃውን ሳይነካ ትዘረጋለች።

ፋና ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም ነበር።

አሰለች ይህን ለማንም አልተናገረችም። ደጀን ሲመጣ ብቻ፣ ዓርብ ቀን፣ ከገንዳው ፊት አስቀመጠችው።

"ዝም ብለህ እይ።"

"ምኑን እታለም?"

"ዝም በል።"

ስምንት ሰዓት... ዝግ ናት።

ስምንት ተኩል... ዝግ ናት።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ክንዶቿ አንድ በአንድ ተፈቱ። አፏ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ቤቱን የባሕር ሽታ ሞላው።

ደጀን ፊቱ አመድ መሰለ።

"ደጀኔ..." አለች በሹክሹክታ። "ውሃውን ከየት ነው የቀዳኸው?"

ደጀን ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

"ከየት?"

"ከኦቦክ።"

"መንገድህ አይደለም እኮ።"

"አይደለም።" እንባው መጣ። "ስፈልጋት ነበር እታለም። ዳርቻውን ሙሉ ቀን ዞርኩት። ባጣት... ባዶ እጄን ከምመለስ፣ ያረፈችበትን ውሃ እንኳ ላምጣልሽ ብዬ ነው።"

አሰለች አልጮኸችም። ተነሥታ እጇን መስታወቱ ላይ አሳረፈች።

"ፋና" አለች።

ክንዶቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ።

በማግስቱ የባሕር አበባዋ አንድ ነገር ተፋች። እንዲህ ያሉት እንስሳት ያልተፈጨላቸውን በአፋቸው መልሰው ያወጡታል፤ ደብተሩም ላይ ተጽፏል። አሰለች የሥጋ ቁራጭ መስሏት በመቆንጠጫ አነሣችው።

ክር ነው። ጥቁር ክር፣ መሐሉ አንድ ቀይ ያለበት፣ ሦስት ቦታ የተቋጠረ።

ማተብ ነው።

ያንን ቀይ ክር የፈተለችው ራሷ አሰለች ናት። ልጇ ክርስትና ስትነሣ አንገቷ ላይ የታሰረውን፣ ሲያረጅ እንደገና ገምዳ ያሰረችላትን እጇ እንዴት ይስተዋል?

ማተቡን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ በባጃጅ ወደ ነአኩቶ ለአብ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። የነፍስ አባቷን መምሬ ምሥጋናውን ከዋሻው ደጃፍ አገኘቻቸው።

"አባቴ፣ ልጄን ልቅበራት መጣሁ።"

ነጠላውን ገልጠው አዩት። ከየት እንደመጣ ነገረቻቸው። "የክርስትና ስሟ ማን ነበር ልጄ?" አሉ።

"አመተ ጊዮርጊስ።"

"ባሕርም ሙታኖቿን ትመልሳለች" አሉ። "እንቀብራታለን።"

አንዲት ክር ለመቅበር ጉድጓድ ተቆፈረ። ፍትሐት ተፈታ። እኔም ቆሜ ነበር። አሰለች አፈሩን በሁለት እጇ እየዘገነች አለበሰቻት። እንደዚያ ያለ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ግን ስንመለስ እጄን ይዛ፣ "አሁን ቦታዋን አወቅሁት" አለችኝ። "አሁን እተኛለሁ።"

ተኛችም። ሦስት ቀን በሰላም ተኛች።

በአራተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ልታጎርሳት ስትጎነበስ የባሕር አበባዋ ቀለም ሙሉ በሙሉ ተመልሶ አገኘችው። ቡናማ፣ ጫፍ ጫፉ ሐምራዊ። ጤነኛ ናት።

ግን ብቻዋን አልነበረችም።

ከክንዶቿ ሥር ሌላ ነበረች። ትንሽዬ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል።

ነጭ።

አሰለች ለደጀን ደወለች። "ይከፈላሉ እኮ እታለም" አላት። "ደብተሩ ላይ አለ። ሲያገግሙ ለሁለት ይከፈላሉ። አትፍሪ።"

"እሺ" አለች። ገና ስልኩን ሳታስቀምጠው እንደገና ጮኸ።

ኤልሳቤጥ ናት።

"እትዬ አሰለች... ቀብሩን ሰማሁ። አንድ ነገር ደብቄዎት ነበር። እንቅልፍ ነሣኝ።"

"ምን?"

"ፋና አስምላኝ ነበር። 'እናቴ እንዳታውቅ፣ በሐፍረት ትሞታለች' ብላ። የሄደችውም... ለዚያ ነው።"

"ለምኑ ነው? ተናገሪ ልጄ።"

በስልኩ ውስጥ የልቅሶ ሲቃ ተሰማ።

"ጀልባዋ ላይ ስትወጣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። አራት ወሯ ነበር፣ እትዬ።"

ስልኩ ከአሰለች እጅ ወደቀ።

"ልጄ... እኔ እኮ አሳድግልሽ ነበር" አለች ለባዶው ቤት። "ምን ሐፍረት አለው? አሳድግልሽ ነበር እኮ..."

መሬት ላይ ተቀመጠች። ስታለቅስ ቆይታ ቀና ስትል፣ ትልቋ የባሕር አበባ ክንዶቿን ወደ ጎን ሰብስባ ትንሿን ገልጣላት ነበር። እንደማሳየት አድርጋ።

አሰለች ተነሣች። እጇን ታጠበች። የቀኝ እጇን ትንሽ ጣት ውሃው ውስጥ አስገብታ አስጠጋችላት።

ነጯ ትንሽ አፍ ተከፈተች...

የጣቷን ጫፍ ጎረሰች።

እየሳበች፣ እያረፈች፣ እየሳበች፣ እያረፈች... ትጠባ ጀመር።