የድርጅት ዋጋ

«የሆድ አልትራሳውንድ፣ መደበኛ። አስገባሽው?» አለች አማል፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል።

«አስገባሁት። ቀጥዪ።»

«እሺ፣ አሁን የድርጅቱን።»

ቀመሪያ ቁጥሩን ጽፋ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች። የሴሚስተር እረፍት ላይ ነበረች። ቤት ተቀምጣ ስልክ ከምትነካካ አክስቷን ማገዝ ይሻላል ተብላ ነው አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ወዳለው ክሊኒክ የመጣችው። አክስቷ አማል የክሊኒኩ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። የአገልግሎቶቹ ዋጋ በሙሉ ስለተቀየረ አዲሱ እስከ ማታ ኮምፒውተሩ ውስጥ መግባት ነበረበት። አማል ደግሞ በሁለት ጣት ነው የምትጽፈው።

ለእያንዳንዱ ምርመራ ሁለት ዋጋ ነበረ። ከኪሱ ለሚከፍል ሰው መደበኛው ይሠራል። የድርጅት የሚባለው ከክሊኒኩ ጋር ውል ላለው የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ነው፤ እነሱ ምንም አይከፍሉም፤ ወሩ ሲያልቅ ክሊኒኩ ፋብሪካውን ያስከፍላል።

የአዛን ድምፅ ሲሰማ አማል ተነሣች። «ሰግጄ መጣሁ። ዋጋውን ብቻ ነው የምትነኪው፣ እሺ? እዚህ መቀመጥሽን ዶክተር አያውቁም።»

«እሺ አልኩ እኮ።»

ብቻዋን ስትቀር አዲሱ ዋጋ በትክክል መግባቱን ለማየት የሰሞኑን ታካሚዎች ዝርዝር ከፈተች። መሃል ላይ የምታውቀው ስም አየች፤ ሆራ፣ የጓደኛዋ የሜቲ ታላቅ እህት። ቀመሪያን ከልጅነቷ ጀምሮ ጸጉሯን የምትሠራት እሷ ናት። ሥራ ቦታ በሚለው ላይ የፋብሪካው ስም ተጽፏል፤ ለቅጥር ስትመረመር የተሞላ ነው። የዋጋው ዓይነት ግን መደበኛ ይላል። ከኪሷ ከፍላለች ማለት ነው።

«ይሄማ ስህተት ነው» አለች ቀመሪያ ለራሷ። ሆራ ገና አዲስ ተቀጣሪ ናት፤ ባሏም ሥራ ከፈታ ቆይቷል። ከተስተካከለ የከፈለችው ይመለስላታል። መደበኛ የሚለውን ነካችና የድርጅት የሚለውን መረጠች። ገጹ አንዴ ብልጭ ብሎ ተቀየረ።

አማል ስትመለስ ቀመሪያ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ግን ዋጋ ብቻ መባሏ ትዝ አላትና ዝም አለች። አማል የወሩን ሒሳብ ዘጋች፤ የፋብሪካውን ክፍያ መጠየቂያ ከነዝርዝሩ አተመች፤ ፖስታ ውስጥ ከተተችና እንዲፈርሙበት የክሊኒኩ ኃላፊ ዶክተር መርዳሳ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ጠዋት የፋብሪካው ሾፌር መጥቶ ይወስደዋል» አለች እየተንጠራራች። «በቃ ሂጂ አንቺ፣ ደክሞሻል።»

ቀመሪያ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ ወደ መብራት ኃይል ሰፈር ስትሄድ ስልኳ ጮኸ። የሜቲ መልእክት ነው።

«ቀሚዬ ምስጢር ነው! ለማንም እንዳትተነፍሺ! ሆራ አርግዛለች!!! አክስት ልሆን ነው አቦ! ግን ፋብሪካ ከሰሙ አለቀላት፤ የሙከራ ጊዜዋ አላለቀም። አብራት የገባችውን ልጅ እርጉዝ መሆኗን ሲያውቁ አሰናበቷት። ለዛ ነው በራሷ ብር የታየችው።»

ቀመሪያ መልእክቱን ደግማ አነበበችው። ዝርዝሩ ላይ የሆራ ስም አለ፤ ከስሟ ፊት ለፊት ያደረገችው ምርመራ ሁሉ ተጽፏል።

«ወራጅ!» ብላ ጮኸች።

«ገና አልደረስንም እኮ» አለ ሹፌሩ።

«ወራጅ አለ፣ በናትህ!»

የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያስነሣ ፊቷ ላይ ይበትነዋል። ሻርቧን በአንድ እጇ ይዛ ወደ ኋላ ሮጠች። ምናልባት ማንም ሳያይ ወደ ቀድሞው ልመልሰው እችላለሁ፣ እያለች ታስባለች። መልሼው፣ ደግሜ አትሜ፣ ወረቀቱን ቀይሬ...

ስትደርስ አማል መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ቆማ ታወራለች። ቀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠች። የሆራን ስም ፈልጋ አገኘችና መደበኛ የሚለውን ነካች። ቀይ ጽሑፍ ወጣ። «ይህ ሒሳብ ተዘግቷል። ለማስተካከል የኃላፊ ፈቃድ ያስፈልጋል።» እንደገና ሞከረች። ያው ነው።

«ምን ረስተሽ ነው?» አማል ከኋላዋ ቆማለች።

ቀመሪያ መዋሸት ትችል ነበር። ቻርጀር ልትል ትችል ነበር። «አክስቴ፣ አንድ ነገር አበላሽቻለሁ» አለች። ሁሉንም ነገረቻት፤ እርግዝናውን ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

አማል ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ፊቷ ገርጥቷል።

«በእኔ የይለፍ ቃል ነው የገባሽው» አለች። «ዶክተር ሲያውቁ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? የቤት ኪራዩን የምከፍለው ከዚህ ደሞዝ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም!» አለችና ወዲያው ዙሪያዋን አየች። የዶክተሩ ክፍል በር ዝግ ነው፤ ከሥሩ ብርሃን ይታያል። ፈርመው ሊሆን ይችላል።

«ምናልባት ፋብሪካዎቹ አያዩትም» አለች አማል። «ያን ሁሉ ስም ማን ቁጭ ብሎ ያነባል?»

«ካነበቡትስ?»

አማል ሻርቧን ፈትታ እንደገና አሰረችና ተነሣች። «አንቺ እዚሁ ጠብቂኝ» ብላ በሩን አንኳኳች። ቀመሪያ ግን ተከትላት ገባች።

ዶክተር መርዳሳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ብዕር ይዘዋል። አማል ቆማ፣ እየተደናቀፈች ነገረቻቸው። «የአንዲት ታካሚ ሒሳብ በስህተት ወደ ድርጅት ተዛውሯል... እኔ ነኝ...»

«እሷ አይደለችም ዶክተር» አለች ቀመሪያ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጠነባት። «እኔ ነኝ የነካሁት። እሷ ሶላት ላይ ነበረች። ዋጋ ብቻ ንኪ ብላኛለች።»

ሰውየው መነጽራቸውን አውርደው አዩአት። «አንቺ ማን ነሽ?»

«የእህቷ ልጅ ነኝ።»

ፖስታውን ከፍተው ዝርዝሩን በጣታቸው ወረዱት። ሆራ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«መደበኛ ይሁን ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ለምናኝ ነው።»

ቀመሪያ ወለሉን አየች። ዶክተሩ በራሳቸው የይለፍ ቃል ሒሳቡን ከፈቱት፤ አስተካክለው እንደገና አተሙት። አሮጌውን ወረቀት አራት ቦታ ቀደዱት። «አማል፣ ነገ ጠዋት እንነጋገራለን» አሉ። «ልጅቷ ከዛሬ ጀምሮ ከባንኮኒው ጀርባ እንዳትገባ።»

በማግስቱ አማል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይዛ ቤት ገባች። ሥራዋ አልተነካም፤ ሾፌሩም የወሰደው አዲሱን ወረቀት ነው። ምሳ አቅርባ ከቀመሪያ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«አልሐምዱሊላህ፣ አልፏል» አለች። «ሆራም ሳታውቀው ቀረ። በቃ፣ አታንሺው። ለምን ታስጨንቂያታለሽ?»

ቀመሪያ አንገቷን በእሺታ ነቀነቀች። ምሳውን ግን መጨረስ አልቻለችም።

ከሰዓት በኋላ ሜቲ ቤት ሄደች። ሁለቱ ፊልም ከፍተው ሲያዩ ሆራ ከሥራ ገባች። ከሰርቪሱ እንደወረደች ነው፤ የፋብሪካው ባጅ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እግሯ አብጧል።

«ቀሚ! አካም ጅርታ?» ብላ ጉንጯን ሳመቻት። «ኧረ ጸጉርሽን ምን ነካው? ቆይ ልታጠብና እሠራልሻለሁ።»

ሜቲ ከጀርባዋ ሆና ለቀመሪያ ጠቀሰቻት፤ ምስጢሩን ማለቷ ነው። ቀመሪያ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ሆራ በሚቀጥለው ወር እዚያው ክሊኒክ ትመለሳለች። እዚያችው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ስሟ ትናንት ፋብሪካው በሚወስደው ፖስታ ውስጥ ገብቶ እንደነበረ ግን አታውቅም።

ሆራ ማበጠሪያውን ይዛ መጣች። «ዞር በይ» አለች።

ቀመሪያ አልዞረችም። «ጸጉሩ ይቆይ» አለች። «መጀመሪያ የምነግርሽ ነገር አለ።»

ሜቲ ዓይኗን አፈጠጠችባት፤ በከንፈሯ ብቻ «እንዳትይ!» አለቻት።

«አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፣ ሆራ» አለች ቀመሪያ፣ ተነሥታ በሩን እየዘጋች። «ክሊኒክ ውስጥ፣ ባንቺ ሒሳብ ላይ።»