የሟቹ የጋሽ ወንድይራድ የሥራ ሰዓት

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ እንደሆነ ዛሬ አይመጣም። ስልካችሁንም አጥፉ፤ ያ ሰማያዊ ብርሃን ፊታችሁ ላይ ሲያርፍ እናንተው ራሳችሁ ሙት ትመስላላችሁ። ተረት ተረት ልላችሁ አልፈልግም፤ የላም በረት ትሉኝና ነገሩ የልጅ ይሆናል። ይሄ የልጅ አይደለም። ይሄ ነገ ጠዋት መሥሪያ ቤት ገብተው ሥራ ለሚጀምሩ ሰዎች ነው።

ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። ከሦስት መዋቅር በፊት። ከተማዋን አልጠራትም፤ ባልጠራትም ታውቋታላችሁ። በዚያች ከተማ አንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት ነበረ። በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ አንድ ረጅም ኮሪደር ነበረ። በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ዘጠኝ ክፍሎች ነበሩ። በዚያ ኮሪደር ላይ አንድ ሰው ብቻውን ይሄድ ነበር።

ስንት ሰዓት ይመስላችኋል? እኩለ ሌሊት? አይ እናንተ! እኩለ ሌሊት መሥሪያ ቤት ማን አለ? ዘበኛው አለ፣ እሱም ተኝቷል። መንፈስም ቢሆን የሚያስፈራራው ሰው ይፈልጋል። እናቶቻችሁ በቀትር ወንዝ አትውረዱ፣ በቀትር ዋርካ ሥር አትቀመጡ አላሏችሁም? አዎ፣ ቀትር ነበር። ዓርብ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። የዓርብ ምሳ ደግሞ ረጅም ነው፤ ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ያ መሥሪያ ቤት ጭር ይላል። ሌላውስ ቀን ጭር አይልም ወይ? ይላል። ሌላው ቀን ግን ወንበሩ ላይ ኮት ተሰቅሎ ይውላል፤ ዓርብ ኮቱም ይሄዳል።

ሰውዬው አያልነህ ይባላል። የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ እዚያ መሥሪያ ቤት ከገባ አራት ወሩ። ሰው ሁሉ ምሳ ሲሄድ እሱ ለምን ቀረ? ኮሪደሩ ጫፍ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት ሴት ናቸው ያስቀሩት። ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። ባላቸው ሞተዋል፤ ከገበያው ጀርባ ባለች ግቢያቸው ሦስት ልጅ አሳድገዋል። ጎረቤታቸው ግቢው የኔ ነው ብሎ ከሰሳቸው። ዳኛው ምን አሉ? «የቦታውን ካርታ ዓርብ ስምንት ሰዓት ይዘው ይቅረቡ፤ አለዚያ ቤቱን ያስረክባሉ» አሉ። ወረቀቱን ምስጥ በልቶታል። የእሳቸውን ብቻ አይደለም፣ የሰፈሩን ሁሉ። የቀረው ስካን ተደርጎ ሰርቨሩ ላይ፣ ሁሉም ሰው በሚገባበት የጋራ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠው ብቻ ነው። ሐሙስ ጠዋት አያልነህ ሊከፍተው ሄደ። የለም።

የጋራ ፎልደር ታውቃላችሁ? አታውቁም፣ ገና ናችሁ። «የመጨረሻ» የሚል ፋይል አለ። «የመጨረሻ የተስተካከለ» የሚል አለ። «ይሄኛው ነው የመጨረሻ» የሚልም አለ። «አትንኩ» የሚል አለ፤ እሱን ያልነካው የለም። የአንዷ ሠርግ ቪዲዮ አለ፣ ከዓመቱ ዕቅድ የሚበልጥ። አያልነህ ሐሙስን ሙሉ በዚያ ጫካ ውስጥ ሲርመጠመጥ ዋለ። ከክፍል ክፍል እየዞረ ጠየቀ። «እኔ አልነካሁም» አለው የመጀመሪያው። «እኔ አልነካሁም» አለችው ሁለተኛዋ። ሦስተኛው ገና ሳይጠይቀው «እኔ አልነካሁም» አለ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ሰይፈ ናቸው። እሳቸው ዘንድ ገባ።

«ፈልገው እንጂ» አሉት። «ካጣኸው ግን አንተ አጠፋኸው ብዬ ነው የምጽፍልህ። ባለሙያው አንተ አይደለህ?»

ሲወጣ ወይዘሮ አስካለ ቀና ብለው አዩት።

«የኔ ልጅ፣ እሱንም ምስጥ በላው?»

«አይ እናቴ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ምስጥ አይገባም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚገባው?»

አፈረ።

እንግዲህ መንፈሱ መምጣት የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ዝም በሉና ስሙኝ።

ሰርቨር ሁሉን ነገር ይመዘግባል። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ምን አነሣ፣ ይጽፋል። ዓርብ ረፋዱ ላይ አያልነህ ያንን ዝርዝር ከፈተ። እንዲህ ይላል፦ ረቡዕ፣ አሥር ሰዓት ከሩብ፣ ፎልደር ተዛወረ። ያዛወረው፦ ወንድይራድ። ወንድይራድ ማነው? በአራት ወር ውስጥ እንዲህ የሚባል ሰው አላየም። ወደ በሩ ወጣና ዘበኛውን ጠየቀ።

«ጋሽ ደምሌ፣ ወንድይራድ የሚባል ሠራተኛ አለ?»

«ጋሽ ወንድይራድ? የመዝገብ ቤቱ? ነፍሳቸውን ይማረውና ሦስት ዓመታቸው! ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ። ምነው?»

«ረቡዕ ሥራ ገብተው ነበር።»

ጋሽ ደምሌ አማተቡ። ያን ቀን ምሳቸውን ከበሩ ውጪ ነው የበሉት።

አያልነህ ተመልሶ ዝርዝሩን ወደ ኋላ ገለበጠው። ሰኞ፦ ወንድይራድ። ማክሰኞ፦ ወንድይራድ። ባለፈው ወር፦ ወንድይራድ። ያ ሁሉ ሠራተኛ ባለበት መሥሪያ ቤት ከወንድይራድና ከአያልነህ ከራሱ በቀር የሌላ ሰው ስም የለም። ሟቹ ሁለት ሰዓት ላይ ይገባሉ፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይወጣሉ። በሕይወት እያሉ እንኳ ሐሙስ ሐሙስ ይቀሩ ነበር አሉ። ከሞቱ ወዲህ አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ፎልደሩን አገኘው። የት ይመስላችኋል? «የገና ፎቶ» ውስጥ፣ እሱ ደግሞ «አዲስ ፎልደር» ውስጥ፣ እሱም ደግሞ ሌላ «አዲስ ፎልደር» ውስጥ። የወይዘሮ አስካለ ካርታ አለ! አያልነህ ደስታው ገነፈለ። ጠቅ አደረገው። ምን አለው መሰላችሁ?

«ይህ ፋይል ተቆልፏል። በአሁኑ ሰዓት እየሠራበት ያለው፦ ወንድይራድ።»

በአሁኑ ሰዓት! ረቡዕ አይደለም። አሁን፣ በቀትር።

ጸጉሩ ቆመ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ትሮጡ ነበር። እሱም መሮጥ አማረው። ግን ስምንት ሰዓት እየደረሰ ነው፣ ሴትዮዋም አግዳሚው ላይ ናቸው። እና ተነሣ። በኮሪደሩ ሄደ። ቁጥር አንድ ተቆልፏል። ቁጥር ሁለት ተቆልፏል። ሄደ። ቁጥር ስድስት ክፍት ነው፣ ሰው የለም። ሄደ። ቁጥር ስምንት ጋ ሲደርስ ሰማ።

ጠቅ። ጠቅ ጠቅ። ጠቅ።

ድምፁ ከቁጥር ዘጠኝ ነው። በሩ ላይ «አቶ ወንድይራድ፣ መዝገብ ቤት» ይላል። ሰውየው ሞተዋል፣ ጽሑፉ ግን አልተነሣም፤ ለማንሣት ደብዳቤ ያስፈልጋል። አያልነህ ተጣራ። ከመቅጠኑ የተነሣ ድምፁ የራሱ አልመሰለውም።

«ጋሽ… ጋሽ ወንድይራድ?»

ጠቅታው ቆመ።

«ግባ!» አለ ከውስጥ ድምፅ።

ገባ።

ጀርባውን የሰጠ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጧል። ቀስ ብሎ ዞረ። ጉንጩ ተነፍቷል። አገጩ ላይ ቀይ ነገር ይንጠባጠባል። ደም? ምን ደም ይሆናል፣ የምስር ወጥ ነው! አቶ ሰይፈ ናቸው። ጭናቸው ላይ ምሳ ዕቃ፣ እስክሪኑ ላይ የወይዘሮ አስካለ ካርታ። ዓርብ አይደል፣ ጾም ነው። አቶ ሰይፈ ጾም አይሽሩም፤ ቅቤ የነካው ማንኪያ እንኳ አያስጠጉም። ያቺን የመበለት ግቢ ግን ከምስሩ ጋር እያጣቀሱ ነበር። የግቢዋን መስመር ወደ ውስጥ ስበው ስበው፣ ከሴትዮዋ ቤት ግማሹ ጎረቤት ገብቷል።

«አያልነህ ነህ እንዴ? ምሳ በላህ? ና ቁረስ።»

«አቶ ሰይፈ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እኔ ምን አደርጋለሁ? ወንድይራድ ነው የሚሠራው።» ሳቁ። «ዝርዝሩን እየው፤ ሰይፈ የሚል አለበት?»

«እሳቸው እኮ ሞተዋል!»

«ስማቸው አልሞተማ። መግቢያቸውን ለማዘጋት ወደ ላይ ደብዳቤ መጻፍ ነበረብን፣ ማን ይጽፋል? የይለፍ ቃላቸው ከአንድ እስከ አራት ነው፤ ሁሉም በዚያው ይገባል። ከጽዳቷ ጀምሮ። ያጠፋም እሳቸው፣ ያበላሸም እሳቸው። አየህ፣ በዚህ ቤት ተጣልተን አናውቅም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ ሙት ወቃሽ አትሁን፣ ነውር ነው።»

አያልነህ መንፈስ ቢያገኝ ይሻለው ነበር። መንፈስን በጠበል ያባርሩታል፤ ኃላፊን በምን ያባርሩታል?

ሮጠ። ማንም ሳያዘው፣ ማታ ማታ ከሥራ ሲወጣ ሰርቨሩን አንዲት ትንሽ ዲስክ ላይ ገልብጦ ቦርሳው ውስጥ ይዞ የመሄድ ልማድ ነበረው፤ ያለ ፈቃድ ስለሆነ እስከዚያች ሰዓት ሊያወጣው ፈርቶ ነበር። የሰኞውን ግልባጭ አወጣ። መስመሩ ያልተነካውን ካርታ አተመ፤ ማን መቼ እንደነካው የሚያሳየውንም ዝርዝር አተመ። ወይዘሮ አስካለን ባጃጅ ላይ አሳፈረና ለስምንት አምስት ጉዳይ ፍርድ ቤት ደረሱ።

ዳኛው ወረቀቱን ገለባበጡ። «ማኅተም የለውም።»

«የለውም ክቡር ዳኛ። ማኅተሙን የያዘው ሰው ካርታውን ሲያሳጥር ነው ትቼው የመጣሁት።»

ዳኛው የሰኞውን ካርታ ከዓርቡ ዝርዝር ጋር አስተያዩ። የሞተ ሰው ዓርብ በቀትር የመበለት ግቢ ሲያጠብ ዋለ ይላል ዝርዝሩ። ቤቱ የወይዘሮ አስካለ ነው ብለው ወሰኑ። ሴትዮዋ አልቅሰው ጉልበቱን ሊስሙት ሲሉ ነው አያልነህ ያነሣቸው። እሱም አለቀሰ፣ ምን ይደብቃል።

አቶ ሰይፈስ? ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው አጣርቶ ጥፋቱ የአቶ ወንድይራድ መሆኑን አረጋገጠ።

አያልነህ ግን ሰኞ ማለዳ ገብቶ የሟቹን መግቢያ ዘጋው። ያን ቀን መሥሪያ ቤቱ ቀጥ አለ። ማንም ምንም መክፈት አልቻለም። ጋሽ ወንድይራድ በሞቱ በሦስት ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከልብ ተለቀሰላቸው። ከዚያ ወዲያ ሁሉም በየስሙ መግባት ግድ ሆነበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ፋይል አልጠፋም። ሰው በገዛ ስሙ ሲሠራ እጁን ሰብሰብ ያደርጋል።

በአራተኛው ሳምንት ለአያልነህ ደብዳቤ መጣለት። «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል ተዛውረዋል» ይላል። ቆላ፣ የሁለት ቀን መንገድ። እንደ ደንቡ ርክክብ አደረገ። ወንበር፣ አንድ። ቁልፍ፣ ሁለት። ዲስክ፣ አንድ። ከቅጹ ግርጌ «መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ያ ብልህ ልጅ፣ ያ ሙት የቀበረ ልጅ፣ ቅጹን ባዶ መተው ደስ አላለውም። ሞላው። ፈረመ። አስረከበ።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን የሥራ ልምድ ማስረጃ ፈልጎ ወደዚያ ጽሕፈት ቤት ደወለ። የማያውቃት ልጅ አነሣች።

«አያልነህ እባላለሁ፣ እዚያ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ።»



«ወንድሜ፣ በሙት ቀልድ ደስ አይልም» አለችው። «አያልነህን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቆላ ወርዶ ወባ ገደለው። አቶ ሰይፈ ናቸው ያረዱን፤ ቆመን የኅሊና ጸሎት አድርገንለታል። አሁን ሁላችንም የምንገባው በእሱ ስም ነው።»

«እህቴ፣ እኔ ነኝ አያልነህ! አልሞትኩም! በሕይወት አለሁ!»

ድምፅዋ ተለወጠ።

«በሕይወት ካለህማ፣ ትናንት የወይዘሮ አስካለን ፎልደር ያጠፋኸው አንተ ነሃ!»

ምን ይበላት? አለሁ ቢል ሊከሰስ ነው፣ የለሁም ቢል ሞቷል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?

ነገ ስትገቡ ወንበሩን ተረከቡ፣ ቁልፉን ተረከቡ። በኮሪደሩም ብቻችሁን ሂዱ፣ ግዴለም፤ የሚነካችሁ የለም። ስትወጡ ግን ስማችሁን ይዛችሁ ውጡ። ተረቴን መልሱ፤ ስማችሁን አታውሱ።