ወንዙ የሚበላው ሩብ ሰዓት

በዚያ ክረምት ዝናቡ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ፋታ እየሰጠ አርባ ቀን ዘነበ። የኢላም መንገድ ሦስት ቦታ ተናደ። የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ሥራ ፈቱ። የኮረሪማው ሥር በሰበሰ። ኔፓልን ከሕንድ የሚለየው ሜቺ ወንዝ ሞልቶ ሁለት ላምና አንድ ሽማግሌ ወሰደ። ወደ ካትማንዱ የሚሄዱት አውቶቡሶች አንድ ቀን ይነሳሉ፣ ሁለት ቀን ይቀራሉ። በድንበር ከተማዋ በካካርቢታ መናኸሪያ ሰው ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ያንቀላፋ ነበር።

ፉልማቲ ራጅባንሺ ቤቷን አልዘጋችም። ከመናኸሪያው አጥር ጀርባ፣ በአንድ በረንዳ ላይ የተደረደሩ አራት ክፍሎች ነበሯት። ሦስቱን በሰዓት ታከራያለች። መንገደኛ ይገባል፣ ጎኑን ያሳርፋል፣ አውቶቡሱ ሲጠራ ይሄዳል። ሰዓቱ የሚያልቅበትን በሩ ላይ በጠመኔ ትጽፋለች፤ ሲደርስ ታንኳኳለች። አራተኛውን ግን አታከራይም። በሩ ላይ በኖራ የተሰመረ አንድ አግድም መስመር አለ። ሃያ ዓመት ሆኖታል። በሩን በቀባች ቁጥር መስመሩን ዞራ ታልፈዋለች።

የጭቅጭቋ ሁሉ ምንጭ በረንዳው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ነበር። ከሜቺ ድልድይ ማዶ፣ ሕንድ፣ ሰዓቱ ከኔፓሉ በሩብ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ከማዶ የሚመጣ ሁሉ ስልኩን ያያል፣ ቀና ብሎ ግድግዳውን ያያል፣ «ሴትዮ፣ ሰዓትሽ ይሮጣል» ይላታል።

«ሩብ ሰዓትህን የበላው ወንዙ ነው፤ ሄደህ እሱን ጠይቅ» ትላለች እሷ።

ያን ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የሦስተኛውን ክፍል በር አንኳኳች። መልስ የለም። ደግማ አንኳኳች። በሩ ከውስጥ አልተቀረቀረም ነበር፤ ስትገፋው ተከፈተ።

መጀመሪያ ያየችው ካልሲውን ነው። አንዱ ወለሉ ላይ ወድቋል፣ አንዱ እግሩ ላይ ነው። ላንሳለት ብላ ጎንበስ አለች፤ ቀና ስትል ፊቱን አየች። የኮረሪማ ነጋዴው ዳንቢር ፕራዳን አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሏል። የገዛ ሻርፑ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል። ፊቱ ጠቁሯል።

ጮኸች ይሉ ነበር በኋላ። እሷ ግን ድምፅ ማውጣቷን አታስታውስም።

በረንዳው ላይ ሦስት ሰዎች ተሰበሰቡ። ከአንደኛው ክፍል ፕራሻንታ፣ ከሕንዷ ሲሊጉሪ የመጣ አጭርና ወፍራም መድኃኒት ሻጭ፣ ዓይኑን እያሸ ወጣ። ከሁለተኛው ካውሲላ፣ ለሥራ ወደ ኩዌት የምትሄድ የኢላም ልጅ፣ ሻንጣዋን አቅፋ ወጣች። ሦስተኛው ሎኬንድራ ነው፣ የዳንቢር እህት ባል። አግዳሚው ላይ ሻይ እየጠጣ ዳንቢር እስኪነሳ ሲጠብቅ ነበር። ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ።

ከመናኸሪያው ኮንስታብል ሬሻም እየሮጠ መጣ። ወጣት ነው፤ ሬሳ አይቶ አያውቅም። በሩን አየ፣ ፉልማቲን አየ።

«የዚህ ክፍል ቁልፍ ማን ጋ ነው ያለው?»

«እኔ ጋ» አለች።

«ጠዋት ከሟች ጋር ተጣልተሻል አሉ።»

ፕራሻንታ አንገቱን ደፋ። ተናጋሪው እሱ ነበር። «የተጠየቅኩትን ነው የመለስኩት እትዬ» አላት ቀስ ብሎ። «አምስት ሰዓት ላይ ከማዶ መጥቶ ሲገባ የሰዓት ሌባ ብሎሽ የለ? እኔ ራሴ ሰምቻለሁ።»

«አንተስ ምን ብለኸኝ ነው የገባኸው?»

«እኔማ... ሰዓትሽ ይሮጣል ብቻ ነው ያልኩት።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። በዚህ ወረዳ የታሰረች መበለት ቤቷ ሳይዘረፍ ወር እንደማይሞላ ታውቃለች። ሬሻም ካቴናውን ከወገቡ ፈቶ በእጁ ይዞት ቆመ።

ኢንስፔክተር ሃርካጂት ሊምቡ በላስቲክ ቦት ጫማ ጭቃውን እየረገጠ መጣ። ቀጭን፣ የሸበተ፣ ጡረታው አንድ ዓመት የቀረው ሰው ነው። ፉልማቲ ገና በአጥሩ በር ሲገባ አወቀችው።

በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን፣ አማፂዎቹ ፖሊስን በየጫካው በሚያድኑበት ጊዜ፣ ይህ ሰው ጭኑን ቆስሎ በሯ ላይ ወድቆ ነበር። አራተኛው ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ቀን ደበቀችው። መሣሪያ የያዙ ሰዎች ሁለት ጊዜ መጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ሳንባው የታመመ ወንድሜ ነው፣ አትቅረቡት» ብላ መለሰቻቸው። በሩ ላይ ሰዓት አልጻፈችም፤ መስመር ብቻ አሰመረች። ሲሄድ ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ። «ተወው፣ ውለታዬን ስትመልስ ታጠፋዋለህ» አለችው እየሳቀች። ከዚያ ወዲህ አላየችውም።

አሁን ፊቷን እንደማያውቀው ሰው አየው።

«የቤቱ ባለቤት አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ተቀመጪ። እጅሽን ጉልበትሽ ላይ አድርጊ።»

ረስቶኛል አለች በሆዷ። ወይም ማስታወስ አልፈለገም። ፍርሃቷ ያን ጊዜ እውነተኛ ሆነ።

ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ አንዱን ካልሲ በሁለት ጣቱ ይዞት ነበር። እሷ ፊት ቆመ።

«በመጨረሻ በሕይወት ያየሽው መቼ ነው?»

«ስድስት ተኩል ላይ። ሻይ አስገባሁለት።»

«ጫማውን አውልቆ ነበር?»

«ኧረ አላወለቀም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ወረቀት ያነብ ነበር። ቀይ ማኅተም ያለበት ወረቀት። ምንድነው ወንድሜ ብለው፣ የእህቴ ልጅ የመሬት ድርሻ ነው፣ ካትማንዱ ወስጄ በስሟ ላዞርላት ነው አለኝ።» ወደ ሦስተኛው በር አየች። «ጠዋት አፌ አመለጠኝ፣ ይቅር በይኝ ብሎኛል። ግን ማን ሰማ? እኔና እሱ ብቻ ነን።»

«ከዚያስ?»

«ዝናቡ መጣ። ጓሮ ያሰጣኋቸውን አንሶላዎች ለማንሳት ሮጥኩ። ስመለስ ሰባት ሊሆን ሩብ ይቀረው ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚሁ አግዳሚ ላይ ነኝ። ወደ በሩ የተጠጋ ሰው የለም።»

«ይህን የምትይው በራስሽ ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። እውነቱ ግን ይኸው ነው።»

ሬሻም ራሱን ነቀነቀ። ኢንስፔክተሩ ግን ወደ መድኃኒት ሻጩ ዞረ።

«ስድስት ተኩልና ሰባት ሰዓት መሃል ምን ትሠራ ነበር?»

«ጌታዬ፣ ክፍል የተከራየሁት ለእንቅልፍ ነው፤ እንቅልፍም ተኝቻለሁ።»

«እውነቱን ነው» አለች ካውሲላ ሳትጠየቅ። «ግድግዳው እስኪነቃነቅ ያንኮራፋ ነበር። በእሱ ምክንያት ዓይኔ አልተከደነም።»

«በወዲያኛው ግድግዳስ የሰማሽው አለ?»

ሻንጣዋን ጠበቅ አድርጋ አቀፈች። «ዝናቡ እንደጀመረ መቀርቀሪያው ሲከፈት ሰማሁ። ማን ነው እንኳ አላለም። ዝግ ብለው ያወሩ ነበር። ከዚያ አልጋው ተንኳኳ። ሲገላበጥ ነው ብዬ...» አልጨረሰችውም። ጎረቤት ክፍል ሰው ሲሞት ስታዳምጥ እንደነበረች ገና አሁን ገባት።

«ድምፁ የወንድ ነው የሴት?» አለ ሬሻም።

«ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ምኑ ይለያል።»

ሎኬንድራ አግዳሚው ጫፍ ላይ ነበር። ረጅም ነው፤ ልብሱ እስከ ውስጥ ርሷል። ጥቁር ጃንጥላውን ጭኑ መሃል አቁሟል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሐዘንህን እያየሁ መጠየቄ ከብዶኛል» አለው ኢንስፔክተሩ። «የት ነበርክ?»

«ማዶ። የሕንዶቹ ጉምሩክ የኮረሪማ ወረቀት ሳስጨርስ። ለምሳ ሰባት ሰዓት ላይ ሲዘጉ የመጨረሻው የወጣሁት እኔ ነኝ። በባለ ሦስት ጎማ የባትሪ ሪክሾ ድልድዩን ተሻገርኩ፤ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። እዚህ ስገባ ሰባት ከሩብ ነበር። እሷም አይታለች።»

«እውነት ነው?»

«አዎ» አለች ፉልማቲ። «ሰባት ከሩብ ላይ ነው የገባው። በስብሶ ስለነበር ጨርቅ ሰጠሁት። ጋሼ ዳንቢር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ እስከ ስምንት ተኝቷል፣ አልቀሰቅስም አልኩት።»

«ጃንጥላ ይዞ ነው የበሰበሰው?»

«ተሰብሯል» አለ ሎኬንድራ።

ኢንስፔክተሩ ሬሻም የሁሉንም ሻንጣ እንዲፈትሽ አዘዘ። የሟች ቦርሳ ውስጥ ልብስና የኮረሪማ ናሙና እንጂ ቀይ ማኅተም ያለበት ወረቀት አልነበረም። የፕራሻንታ ሻንጣ ውስጥ የሳል ሽሮፕ ተገኘ። የካውሲላ ሻንጣ ውስጥ ፓስፖርት፣ ሁለት ቀሚስና የእናቷ ፎቶ። ከጓሮ ባለው የፉልማቲ ማደሪያ ውስጥም ምንም የለም። ሬሻም ካቴናውን አነሳ።

«ጌታዬ፣ ልውሰዳት?»

«ቆይ። ሁላችሁም እዚህ ሰዓቱ ሥር ኑ።»

ቆሙ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል።

«ከካልሲው ልጀምር» አለ ኢንስፔክተሩ። «ስድስት ተኩል ላይ ጫማው እግሩ ላይ ነበር። ሲሞት አንዱን ካልሲ አውልቆ ሁለተኛው ቀርቶታል። ስለዚህ ካልሲውን ያወልቅ የነበረው እንግዳው ከገባ በኋላ ነው። አንድ የተከበረ ነጋዴ በማያውቃት ሴት ፊት፣ ጠዋት በሰደባት ባለቤት ፊት፣ ተቀምጦ ካልሲውን ያወልቃል?»

«አያወልቅም» አለ ፕራሻንታ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«ማን ነው ሳይል ከፈተለት። ወሬውን ሳያቋርጥ እግሩን አሳረፈ። የገባው የቤቱ ሰው ነው።»

ሎኬንድራ ቀስ ብሎ ተነፈሰ። «እኔ ያን ጊዜ ማዶ ነበርኩ።»

«ወደዚያ እየመጣሁ ነው። አንተ መድኃኒት ሻጩ፣ ዛሬ ከማዶ መጥተህ እዚህ ስትገባ የቤቱን ባለቤት ምን አልካት?»

«ሰዓትሽ ይሮጣል አልኳት። ምን ላድርግ፣ ሁሉም ይላል።»

«ሟችስ?»

«የሰዓት ሌባ አለኝ» አለች ፉልማቲ።

«ይህ ሰውዬስ? ሰዓቱን አይቶ ምን አለሽ?»

አሰበች። «ምንም አላለኝም።»

«ምንም አላላትም» አለ ኢንስፔክተሩ። «ድልድዩን የተሻገረ ሁሉ ወንዙ ሩብ ሰዓት ይበላበታል። ከማዶ በሰባት ሰዓት የወጣ ሰው፣ ሩብ ሰዓት ተጉዞ፣ እዚህ ሲደርስ ሰዓቱ ሰባት ተኩል ይላል። ሰባት ከሩብ አይልም። እዚህ ሰባት ከሩብ ሲሆን ማዶ ገና ሰባት ነው። ሎኬንድራ፣ ያልከው እውነት ከሆነ፣ የጉምሩኩ በር ሲዘጋ በዚያው ቅጽበት አንተ እዚህ ቆመህ ጨርቅ ትቀበል ነበር።»

ሎኬንድራ ጃንጥላውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«ሰዓት ተሳስቼ ይሆናል» አለ ሎኬንድራ። «በሐዘን ላይ ላለ ሰው ሩብ ሰዓት ምኑ ነው?»

«ስትገባ ሐዘን አልነበረብህም። ስሌትህን የሠራኸው እዚሁ፣ ከአጥሩ ጀርባ ቆመህ፣ በኔፓል ሰዓት ነው። በእውነት ተሻግረህ ቢሆን ኖሮ ወንዙ ራሱ ያርምህ ነበር። ዛሬ ማዶ አልሄድክም። እሷ ለአንሶላዎቹ ስትሮጥ ገባህ፣ ሥራህን ጨርሰህ ወጣህ፣ ዝናብ ውስጥ ቆመህ ቆይተህ እንግዳ መስለህ መጣህ።»

«ማስረጃ የለህም።»

«ጃንጥላህን ክፈተው።»

«ተሰብሯል አልኩ እኮ።»

«የተሰበረ ጃንጥላ ማንም ሰው ለአንድ ሰዓት ጭኑ መሃል አቅፎ አይቀመጥም። ሬሻም፣ ክፈተው።»

ወጣቱ ካቴናውን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ጃንጥላውን ወሰደ። ሎኬንድራ አልለቅም አለ፤ ከዚያ ጣቶቹ አንድ በአንድ ላሉ። ጃንጥላው ሳይሰበር፣ ሳያንገራግር ተከፈተ። በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት መሬት ላይ ወደቀ። ቀዩ ማኅተም በፕላስቲኩ ውስጥ ይታይ ነበር።

«ቀደህ መጣል አልሆነልህም፤ ለራስህ ያስፈልግሃል» አለ ኢንስፔክተሩ። «ጃንጥላውን ብትከፍተው ይወድቃል። ስለዚህ ጃንጥላ ይዘህ በሰበስክ።»

«የሚስቴ መሬት ነው» አለ ሎኬንድራ። ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆነ። «ሃያ ሁለት ዓመት ያረምኩት እኔ ነኝ። ለልጅቷ ብቻ ሊሰጥ...»

«ልጅቷ የማን ናት?» አለች ፉልማቲ።

የገዛ ልጁ ናት።

ሬሻም ሎኬንድራን ይዞ ሲወጣ ፉልማቲን ማየት ከብዶት አጎንብሶ አለፈ። ኢንስፔክተሩ ቀረ። እሷ ተመልሳ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነበር።

«እጅሽን አንሺ እንጂ፣ እህቴ።»

ቀና አለች። «አውቀኸኛል ማለት ነው?»

«ገና ከአጥሩ በር ላይ። የማውቅሽ መሆኔን ቢያዩ ግን ዛሬ የተናገርኩትን ማን ያምነኝ ነበር? ስላስፈራሁሽ ይቅር በይኝ።»

ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እሱ እያነከሰ በረንዳውን ተሻግሮ አራተኛው በር ፊት ቆመ። አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ መስመሩን ፈተገው። የድሮ ኖራ ነው፤ እንቢ አለ። ፉልማቲ እርጥብ ጨርቅ አመጣችለት። ጎንበስ ብሎ እንጨቱ ብቻ እስኪቀር ድረስ ፈተገ።

«ሰዓቴ ደርሷል» አላት።

«በየትኛው ሰዓት?»

ግድግዳውን አየ። «በአንቺው ሰዓት» አለና ጨርቁን መለሰላት።

አውቶቡሱ በዚያም ቀን አልተነሳም። ፉልማቲ ጠመኔዋን አንስታ፣ ሻንጣዋን አቅፋ የቆመችውን ካውሲላን ጠራቻት።

«ነይ ልጄ፣ አራተኛው ክፍል ተለቋል።»