የኢንጂነሯ ፍርድ

«ያመዋል እንዴ?» አሉ አያቷ፣ ከትከሻዋ በላይ አንገታቸውን አስግገው።

«ኮምፒውተር አያመውም እማማ። እየተመረመረ ነው።»

«ካላመመው ምን ያስመረምረዋል ታዲያ?»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ጽሑፍ ተደርድሯል፤ ዲስኩ ስህተት ስለተገኘበት እየተፈተሸ ነው፣ እስኪያልቅ ማንም እንዳያጠፋው ይላል። ቁጥሩ አሥራ ሁለት በመቶ ላይ ደርሶ ቀጥ ብሏል፤ ወይ ፍንክች!

ቤት ውስጥ «ኢንጂነር» ነው የሚሏት። ማዕረጉን ያገኘችው አልሠራ ያለውን የቴሌቪዥን ሪሞት ባትሪውን ገልብጣ አስገብታ ያስተካከለች ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲንቀራፈፍ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ ፍሪጁ ሲያጓራ ሳይቀር «ኢንጂነርን ጥሯት!» ይባላል። እሷም ማዕረጉን ወዳዋለች። የማታውቀው ነገር ሲገጥማት ዓይኗን ጨፈን አድርጋ «እምም» ትላለች። ግማሹ ችግር ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ይለቃል፤ ለቀረው ግማሽ ጥፋተኛ ይፈለግለታል።

ዛሬ ጠዋት የተገኘው ጥፋተኛ ታላቅ ወንድሟ ነበር። እናታቸው ነርስ ናት፤ ከሥራ መልስ ትማራለች። የመመረቂያ ጽሑፏን ፊደል በፊደል፣ በአንድ ጣቷ እየለቀመች ስትጽፍ ነው የከረመችው፤ ሰኞ ታስረክባለች። ጠዋት ልታነበው ስትከፍተው ገጹ ሁሉ አራት ማዕዘንና የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ጠበቃት። አልጮኸችም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ትንፍሽ ሳትል ወደ ተረኛ ሥራዋ ወጣች። ይሄ ደግሞ ከጩኸት ይብሳል።

አባቷ «ኢንጂነር፣ ምን ሆኖ ነው?» ሲላት፣ «እምም... ጌም ነው። እሱ የሚጭነው ጌም ቫይረስ አምጥቶ ነው» አለች። አባቷም እዚያው ፈረደ፦ ወንድሟ የቅዳሜውን የፍጻሜ ጨዋታ እንዳያስበው! በረኛ ነው። ተጠባባቂው በረኛ ደግሞ ኳስ ሲመጣ ዓይኑን የሚጨፍን ልጅ ነው።

«አንቺ የሪሞት ኢንጂነር!» የሚል ድምፅ ከግቢው መጣ። «ነይ ውጪማ!»

ልጅቷ ብድግ አለች። «እማማ፣ እስኪጨርስ እንዳይነካ። አንድም ቁልፍ!»

«እኔ? ቁልፉን? እጄን ይቁረጠው!»

ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ጌሙን ለፈተና ብዬ ካራገፍኩት ስንት ጊዜዬ! ገብተሽ አይተሻል?»

«ኢንጂነሩ አንተ ነህ እኔ?»

«እኔማ በረኛ ነኝ። ያላየሁትን ኳስ ያዝኩ ብዬ አላውቅም። አንቺ ግን ያላየሽውን ቫይረስ ያዝሽ!»

በሩን ድው አድርጋ ዘግታበት ተመለሰች። ሳሎኑ እርጭ ብሏል። ኮምፒውተሩ አያጓራም። ስክሪኑ ጨልሟል፤ ላዩ ላይ ፎጣ ተጥሎበታል። አያቷ ሶኬቱን ነቅለው ገመዱን እጃቸው ላይ እንደ ክር ይጠቀልላሉ።

«እማማ! ምን አደረጉ?!»

«አሳረፍኩት። ስዳብሰው እንደ ትኩሳተኛ ግሏል! ቤቱን ሊያነድብን ነው ብዬ ነቀልኩት።»

«እንዳይነካ አላልኩም?!»

«ቁልፍ ነዋ ያልሽው! ያኔ ‹ቁልፎቹን እንዳይነኩ፣ ጉድ ይፈላል› ካልሽኝ ወዲህ አንዷንም ነክቼ አላውቅ። ከግድግዳው ብቻ ነው የምነቅለው።»

ልጅቷ ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «የምነቅለው? ሁልጊዜ ነው እንዴ?»

«እናትሽ እየጻፈች እንቅልፍ ሲጥላት፣ አንቺ በርቶ ትተሽው ስትሄጂ፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም... እኔ ካላሰብኩላችሁ ማን ያስብላችኋል?»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባት። ኮምፒውተር እየጻፈ ሳለ መብራቱ ድንገት ሲቋረጥበት፣ ግማሹ ጽሑፍ ዲስኩ ላይ ይቀራል፣ ግማሹ ይበናል። አንድ ቀን ቢሆን ይችለው ነበር። ይሄ ግን ወር ሙሉ ቃሉን ከአፉ ሲነጠቅ የከረመ ምስኪን ነው።

ፎጣውን አንስታ ሶኬቱን መልሳ ሰካች። ምርመራው ከዜሮ ጀመረ። ሁለቱም እጃቸውን አጣጥፈው፣ ሐኪም ቤት ደጃፍ እንደተቀመጠ ቤተሰብ ቁጥሩን ይጠባበቁ ጀመር። ሲያልቅ መጀመሪያ የተጫኑትን ፕሮግራሞች አየች። ጌም የሚባል ነገር የለም። ዘሩም የለም።

ቀጥላ የእናቷን ጽሑፍ ፈለገች። የመጻፊያው ፕሮግራም በየመሃሉ ለራሱ ቅጂ እንደሚያስቀምጥ ክፍል ውስጥ ሰምታ ነበር። ቅጂው ሲከፈት ፊደል ታየ፤ የእናቷ ደህና ፊደል! መጨረሻው ላይ ጥቂት ገጾች ጎድለዋል እንጂ ሌላው አለ። ምንም ሳትነካካ መጀመሪያ ወደ ፍላሽ ገለበጠችው።

«ተገኘ እማማ!»

አያቷ ግን አልሳቁም። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ አይደል?» አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

ልጅቷ ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች።

«ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ለአባትሽ እንዳትነግሪው። አማቼ ነው፤ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ጌሙ ነው በይው። ጌሙ እንደሆነ አያፍር።»

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። አያቷ አይሸማቀቁም፤ እሷም ማዕረጓን አታጣም። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ግቡ ላይ የሚቆመው ዓይኑን የሚጨፍነው በረኛ ነው። ወንድሟን አሰበችው፤ ቢጮህም አንዲት ጊዜ እንኳ «አያቴ ናቸው» አላለም። አያውቅማ! የሚያውቀው እሱ አለመሆኑን ብቻ ነው፣ ማን ያምነዋል?

የግቢው በር ተንኳኳና አባቷ ገባ፤ ወንድሟም ከኋላው።

«እህሳ ኢንጂነር፣ ምን ተገኘ?»

«የእማዬ ጽሑፍ ተገኝቷል፤ የጎደለውን እሷ እየነገረችኝ እኔ እጽፍላታለሁ» አለች። «ጌም ግን የለም አባዬ። ሳላይ ነው የፈረድኩበት።»

ወንድሟ አፉን ከፈተ፤ የተዘጋጀበት ስድብ ሁሉ ጠፋበት።

«ታዲያ ምንድን ነው ያበላሸው?» አለ አባቷ።

አያቷ የነጠላቸውን ጫፍ ይፈትሉ ጀመር። ልጅቷ እጇን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈች።

«ቁጭ በል አባዬ። ኮምፒውተሩ እንዴት እንደሚጠፋ ሳላሳይ፣ እንዳይነካ ብቻ እያልኩ ሰው ሳስፈራራ የከረምኩት እኔ ነኝ። ከእኔ ነው የሚጀምረው።»

አባቷ ወንበር ሲስብ አያቷ ቀድመው ተመቻችተው ተቀመጡ።

«እንግዲህ እሷ ትጀምር» አሉ። «የኔው ይረዝማል።»